ከቤሊንግሃም ወደ አላስካ በፌሪ፣ ያለ ካቢን፦ ድንኳን፣ የጾም ምግብና የካናዳ ድንበር

ጥያቄ፦ መንገደኛ ከሲያትል

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ በነሐሴ መጀመሪያ ከቤሊንግሃም (ዋሽንግተን ግዛት) ተነስተን በአላስካ መንግሥት ፌሪ እስከ ሄይንስ ልንሄድ አስበናል። ሄይንስ ላይ አንኮሬጅ የሚኖር ዘመዳችን በመኪና መጥቶ ይቀበለናል። የካቢኑ (የግል መኝታ ክፍሉ) ዋጋ ከአቅማችን በላይ ስለሆነ ላይኛው ወለል ላይ ድንኳን ተክለን ለማደር ነው ሐሳባችን።

ድንኳን ብረት ወለል ላይ እንዴት ይተከላል? ፍልሰታ ስለሚገባ ምግቡንስ እንዴት እናድርግ? ሌላው፣ እኔ የአሜሪካ ዜግነት አለኝ፣ ባለቤቴ ግን ግሪን ካርድ ነው ያላት፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርቷም ጊዜው አልፎበታል። መንገድ ላይ ይጠየቅ ይሆን?

መልስ 1፦ ኬላ

ከድንኳኑ በፊት የወረቀቱን ነገር ጨርሱ፤ ጉዟችሁ ሊሰናከል የሚችለው እዚያ ላይ ነው።

ባሕሩ ላይ ችግር የለባችሁም። መርከቡ በካናዳ ውኃ ቢያልፍም ካናዳ ላይ አይቆምም። ከአሜሪካ ወደብ ተነስቶ በቀጥታ ኬቺካን፣ አላስካ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ፎቶ ያለው የመንግሥት መታወቂያ ይበቃል። ባለቤትህ ግሪን ካርዱን ራሱን ትያዝ እንጂ ኮፒውን ወይም ስልኳ ላይ ያለውን ፎቶ አትመን።

አስቸጋሪው ሄይንስ ነው። ከተማው አላስካ ውስጥ ይሁን እንጂ ከቀረው አላስካ ጋር የሚያገናኘው መንገድ በካናዳ በኩል ነው የሚዞረው። ከሄይንስ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዳ የድንበር ኬላው ይመጣል፤ ከዚያ ብሪቲሽ ኮሎምቢያንና ዩኮንን አቋርጦ እንደገና አላስካ ይገባል። እስከ አንኮሬጅ በጠቅላላው 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግሪን ካርድ ላለው ሰው ካናዳ ቪዛ አትጠይቅም፤ ነገር ግን ጊዜው ያላለፈ የአገሩን ፓስፖርት ከግሪን ካርዱ ጋር ማሳየት ግድ ነው። ባለቤትህ ባላት ፓስፖርት ኬላው ላይ ትመለሳለች፤ ከዚያ ሄይንስ ላይ ሆናችሁ ቀጣዩን ፌሪ መጠበቅ ነው። ስካግዌይ ብትወርዱም ያው ነው። ዘመዳችሁም ሊወስዳችሁ ሲመጣ በዚሁ ድንበር ስለሚያልፍ የእሱም ወረቀት ይታይ።

ወይ ፓስፖርቱን ከአሁኑ አሳድሱ፣ ወይ ከሄይንስ በፊት ባለችው በአላስካ ዋና ከተማ በጁኖ ውረዱና ወደ አንኮሬጅ በአውሮፕላን ቀጥሉ፤ በረራው የአገር ውስጥ ስለሆነ ግሪን ካርዱ ይበቃል። በአንዳንድ ወቅት ከጁኖ የአላስካን ባሕረ ሰላጤ አቋርጦ ዊቲየር የሚደርስ ፌሪ ይኖራል። ዊቲየር ከአንኮሬጅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በካናዳም አያልፍም። በእናንተ ሳምንት መኖሩን የጉዞ ሰሌዳው ላይ ፈልጉ።

መልስ 2፦ ካስማ

ስለ ድንኳኑ። ወለሉ ብረት ነው፣ ካስማ አይመታበትም፤ የሚይዘው ዳክት ቴፕ ነው። ድንኳናችሁ በራሱ ዘንግ የሚቆም ዓይነት መሆን አለበት። በካስማና በገመድ ተወጥሮ የሚቆመውን ዓይነት ይዛችሁ አትምጡ።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው አለጣጠፉ ላይ ነው። ወለሉ ሁልጊዜ ጨዋማ እርጥበት አለው፤ እርጥብ ላይ የተለጠፈ ቴፕ መርከቡ ፍጥነት ሲያነሳ ይላቀቃል። ስለዚህ አራቱ ማዕዘን የሚያርፍበትን ቦታ መጀመሪያ በጨርቅ እስኪደርቅ ጥረጉ። ቴፑን በድንኳኑ ጨርቅ ላይ አትለጥፉ፣ ሲነሳ የውኃ መከላከያውን ልባስ ይዞ ይሄዳል። በማዕዘኑ ቀለበት ውስጥ አሳልፉና ግራና ቀኙን ወለሉ ላይ አጣብቁት፤ ከዚያ በላዩ ሌላ ቁራጭ በመስቀል ቅርጽ ደርቡበት። ለአንድ ማዕዘን ክንድ የሚያህሉ ሁለት ቁራጮች ይበቃሉ፣ ለመጠባበቂያ ግን ሙሉ ጥቅል ያዙ። የዝናብ ልባሱን አውታሮች በአቅራቢያ ካለው የብረት አጥር ጋር እሰሩ። ሻንጣዎቹን ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ውስጥ አስቀምጡ፤ ባዶ ድንኳን ጥላችሁ ወደ ካፍቴሪያ አትውረዱ። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት እያንዳንዱን ማዕዘን በእጅ ፈትሹ። ስትወርዱ ቴፑን ልቅም አድርጋችሁ አንሱት፤ ለሚቀጥለው ሰውም ደክ (ክፍቱ የመርከብ ወለል) ላይ መተከሉ እንዲፈቀድ የሚያደርገው ይሄ ነው።

ነሐሴ ቢሆንም ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል፣ ብረቱም ሙቀት ይስባል። ከስሊፒንግ ባጉ ሥር የስፖንጅ ምንጣፍ ካልተነጠፈ ብርዱ ከታች ነው የሚገባው።

እውነቱን ለመናገር፣ ኬቺካን በዓመት ከ3,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚጥልበት አገር ነው፣ አዲስ አበባን ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ ድንኳን ይዛችሁም ቢሆን ሶላሪየሙን እመክራለሁ። ከኋላ በኩል ክፍት የሆነ፣ ጣሪያ ያለውና ከላይ ማሞቂያ የተሰቀለበት ቦታ ነው፤ የሚዘረጉ የፕላስቲክ ወንበሮች አሉት፣ ተጨማሪ ክፍያም የለውም። ቀድሞ የደረሰ ይይዛል። መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚበራ የዓይን መሸፈኛ፣ ለሞተሩ ድምፅና ወደብ ላይ ለሚነገረው ማስታወቂያ ደግሞ የጆሮ መድፈኛ ያዙ። ሻወር አለ፤ ፎጣ ከቤት ይምጣ።

አንድ ነገር እንዳትረሱ፦ የመኪናው ወለል ባሕር ላይ አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ነው። ትልቁን ሻንጣ የሻንጣ ጋሪው ላይ ከጫናችሁ በፈለጋችሁት ሰዓት አታገኙትም። መድኃኒት፣ ሹራብና ምግብ አብሯችሁ ይውጣ።

መልስ 3፦ በሶና ቆሎ

ለምግቡ አትጨነቁ። ካፍቴሪያው ውስጥ ማይክሮዌቭና ሙቅ ውኃ አለ፣ ከቤት ያመጡትን መብላትም ይቻላል። የተከለከለው ደክ ላይ እሳት ማንደድ ነው፤ የካምፕ ምድጃ አይነካም።

እስከ ጁኖ ከሁለት ቀን በላይ ይፈጃል። ለሁለት ሰው ግማሽ ኪሎ በሶ፣ ግማሽ ኪሎ ቆሎ፣ የአምስት እንጀራ ድርቆሽና አንድ ኩባያ ምጥን ሽሮ ከበቂ በላይ ነው። ሽሮው በማይክሮዌቭ ይበስላል፣ ግን ሙቅ ውኃ ላይ ከነሰነሳችሁት ይጓጉላል። ሦስት ማንኪያ ሽሮ መጀመሪያ በትንሽ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጡ፣ ከዚያ አንድ ኩባያ ሙቅ ውኃና ትንሽ ዘይት ጨምሩ። ሁለት ደቂቃ አብስላችሁ አማስሉ፣ እንደገና አንድ ደቂቃ። ጎድጓዳ ሳህኑ ከግማሽ በላይ አይሙላ፣ ይገነፍላል። ድርቆሹን እዚያው ፈትፍቱበት። ካፍቴሪያው ቀኑን ሙሉ ክፍት ስለማይሆን፣ እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ሙቅ ውኃውን ጠዋት በፔርሙስ ሞልታችሁ አስቀምጡ።

አብዛኛው መንገድ በደሴቶች መሐል ስለሆነ ማዕበል የለውም። የሚንጠው ሁለት ቦታ ነው፦ ከቫንኩቨር ደሴት ሰሜን ጫፍ በኋላ ያለው ኩዊን ሻርሎት ሳውንድ፣ ቀጥሎም ኬቺካን ከመድረሱ በፊት ያለው ዲክሰን ኢንትራንስ። መርከቡ አርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት (በአሜሪካኖቹ 6) ከተነሳ የመጀመሪያው ቅዳሜ ከሰዓት ገደማ ይመጣል። መክሊዚን (የባሕር ማቅለሽለሽ መከላከያ ክኒን) የምትወስዱ ከሆነ ከአንድ ሰዓት በፊት ዋጡ፤ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም። በዚያ ሰዓት መርከቡ መሐል፣ ዝቅ ባለው ወለል ተቀመጡና አድማሱን እዩ። ባዶ ሆድ ያብሰዋል፤ ጥቂት ቆሎ ሆድ ውስጥ ቢኖር ጥሩ ነው።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሄይንሱን ነገር ካርታ ላይ አሁን አየሁት፤ ፓስፖርቱ እስከዚያ ስለማይደርስ ጁኖ ላይ እንወርዳለን። አውሮፕላኑን በዚያው ቀን ልቁረጠው? ወደቡስ ከከተማው ይርቃል?

መልስ 4፦ ኬላ

በዚያው ቀን አትቁረጥ፣ አንድ ሌሊት አስቀር። ከ2019 የበጀት ቅነሳ ወዲህ መርከቦቹ ጥቂት ናቸው፤ አንዱ ቢበላሽ የሚተካው ላይገኝ ይችላል። ሁለተኛው ምክንያት ባሕሩ ነው። ከጁኖ በፊት ባሉት ወደቦች፣ በራንጀልና በፒተርስበርግ መሐል ያለው ራንጀል ናሮውስ 35 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ጠባብ መተላለፊያ ስለሆነ ትልልቆቹ ፌሪዎች ውኃው የሚሞላበትን ሰዓት ጠብቀው ነው የሚገቡበት። የሰሌዳው ሰዓት በየሳምንቱ የሚለዋወጠውም በዚህ ነው። በነገራችን ላይ ሌሊት ካለፋችሁበት ተነሱና ከፊት በኩል እዩት፦ ከ60 በላይ ምልክቶች አሉት፣ ቀይና አረንጓዴ መብራቶቹ ግራና ቀኝ በቅርብ ያልፋሉ፤ መርከቡም ከአንዱ ወደ አንዱ እየተጠማዘዘ በዝግታ ነው የሚሄደው።

የጁኖ ፌሪ ወደብ ኦክ ቤይ ነው፣ ከመሐል ከተማ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አውሮፕላን ማረፊያው በመሐል ስለሆነ ከወደቡ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ማደሪያ እዚያ አካባቢ ፈልጉ። የከተማው አውቶቡስ ወደቡ ድረስ አይገባም፣ እስከ ፌርማታው በእግር 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል አለው። ሌሊት ከደረሳችሁ ያም አይኖርም። ስልክ የሚሠራው ወደብ አጠገብ ብቻ ስለሆነ ፒተርስበርግ ላይ ሳላችሁ ታክሲ ደውላችሁ ያዙ፣ ወይም መርከቡ ላይ ከሌላ ተሳፋሪ ጋር ለመጋራት ተስማሙ። አላስካ ከሲያትል አንድ ሰዓት ወደኋላ መሆኑንም ታክሲውን ስትቀጥሩ አስቡበት።