የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ወንዛችን ውስጥ እየገባ ከብት እየጎዳ ነው፤ አቤቱታችን ውድቅ እንዳይሆን ምን እናድርግ?

የመስኩ ልጅ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከመንደራችን በላይ ያለ ቆዳ ፋብሪካ ፍሳሹን ወደ ወንዙ ይለቃል። አንዳንድ ቀን ነጣ ብሎ ፀጉር ተቀላቅሎበት ይመጣል፣ ሌላ ቀን ሰማያዊና አረንጓዴ ነው። ሽታው የገማ እንቁላል ነው። ከብቱም በጉም ከዚያው ይጠጣል፤ የሚከሳ፣ የሚያስቀምጠው፣ የሚጨነግፍ በዝቷል፤ የሞቱም አሉ። ለቀበሌ በቃል ተነግሮ ምንም አልተደረገም። አሁን ነዋሪው በጽሑፍ ሊያመለክት ነው።

ማመልከቻው ለማን ይገባል? ማኅበር ሆነን ሳንመዘገብ ይቀበሉናል? ውኃውን በሃይላንድ ቀድተን ላቦራቶሪ ብንወስድ ማስረጃ ይሆናል? ከብቶቹስ እስከዚያ ምን ይሁኑ? የመንደሩ ወጣት ብዙው እዚያው ነው የሚሠራው፤ «ይዘጋ» ብንል እርስ በርሳችን መጋጨታችን ነው።

አንቀጽ 44፦

ለማመልከት ማኅበር መሆን አያስፈልጋችሁም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11ን አንብቡት። ማንኛውም ሰው፣ ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ላይ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም መሰጠት ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ።

እንግዲህ ሁሉም ነገር የሚቆጠረው ከገቢው ቀን ነው። በቃል የተነገረ አቤቱታ ቀን አይቆጠርለትም። ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱን መዝገብ ቤት ያስቀሩ፣ በሁለተኛው ላይ ገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጉበት። አንቀበልም ካሉ በሪኮማንዴ ላኩና የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ አስቀምጡ።

ብዙ ጉዳይ የሚሞትበትን ቦታ ልንገራችሁ። በሃያኛው ወይም በሃያ አምስተኛው ቀን «ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቁሟል» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። ሰው ደስ ብሎት ይጠብቃል። ይህ ግን ውሳኔ አይደለም፤ 30ው ቀን ሲሞላ የ60ው ቀን ቆጠራ ይጀምራል፣ ኮሚቴው ሳይመለስ ጊዜው ያልፋል። ሁለቱንም የመጨረሻ ቀኖች ጽፋችሁ ቢያንስ ሦስት ሰው ዘንድ አስቀምጡ።

ለማን ለሚለው፦ ክልል ውስጥ ያለ ፋብሪካ ከሆነ ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው፤ ግልባጭ ለዞን፣ ለወረዳ፣ ለጤናና ለእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት፣ ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን። የአቃቂና የሞጆ ወንዞችን ብክለት ይዞ የተነሣው የታወቀ ክስ በየደረጃው ውድቅ የሆነው ትክክለኛውን ተከሳሽ ባለመያዙ ነው። አክሽን ፕሮፌሽናልስ አሶሲዬሽን ፎር ዘ ፒፕል የተባለው ድርጅት የከሰሰው የፌዴራሉን ባለሥልጣን ነበር፤ ፍርድ ቤት ክሱ በእሱ ላይ ሊቀርብ አይገባም አለ፣ ሰበርም አልቀየረውም። የእናንተ ጉዳይ ፍርድ ቤት ከደረሰ ተከሳሹ ፍሳሹን የሚለቀው ድርጅት ይሁን።

ማመልከቻው ከሁለት ገጽ አይብለጥ። የት ቦታ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በምን ሰዓት፣ ምን እንደሚታይ፣ ምን ጉዳት እንደደረሰ፣ ምን እንደምትጠይቁ። «ሕዝብ እያለቀ ነው» ዓይነት ቃል አታስገቡ፤ ማስረጃ የሌለው አንድ ዓረፍተ ነገር የቀረውን ሁሉ ያስጠረጥራል። ፈራሚው ሙሉ ስሙን፣ ቀበሌውንና የመታወቂያ ቁጥሩን ይጻፍ። ከሦስት እስከ አምስት ተወካይ በቃለ ጉባኤ ወክሉ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ከሆነ በአፋን ኦሮሞ ጽፋችሁ አስገቡ፤ ለትርጉም ተብሎ የሚባክን ሳምንት አይኖርም።

በሌላ ደብዳቤ ደግሞ መረጃ ጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመረጃ ጥያቄን በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፤ ካልመለሰ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይግባኝ ይባላል። የፋብሪካውን የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሰነድ፣ የፍሳሽ ክትትል ሪፖርቶቹንና መሥሪያ ቤቱ የሚሠራበትን የፍሳሽ ልክ ሠንጠረዥ ጠይቁ። ከአቤቱታው ጋር በአንድ ደብዳቤ ካደረጋችሁት የሚመለስላችሁ ቀላሉ ብቻ ነው።

ናሙና፦

በሃይላንድ የተቀዳ ውኃ ለራሳችሁ ፍንጭ ይሰጣል እንጂ ሙግት ላይ አይቆምም። ፋብሪካው መጀመሪያ የሚያነሣው «ማን ቀዳው? የት? ጠርሙሱ ምን ነበረበት?» የሚለውን ነው። ዋናውን ናሙና ተቆጣጣሪው እንዲወስድ በማመልከቻው ጠይቁ። የእናንተ ሥራ ተቆጣጣሪው የት ቦታና በስንት ሰዓት መገኘት እንዳለበት ማሳየት ነው።

ለዚህ የሚበቃ ርካሽ መሣሪያ አለ፤ በእጅ የሚያዝ የፒኤች (የውኃው አሲድነት ልክ) እና የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ መለኪያ። ቆዳ በጨው ተጠብቆ ስለሚመጣ ፍሳሹ ጨዋማ ነው፤ ማስተላለፉ በአንድ ጊዜ ይጨምራል። ፀጉር ማስለቀቂያው ኖራ ሲለቀቅ ፒኤች ወደ 12 ይጠጋል፣ ቆዳው የሚነከርበት የአሲዱ ዙር ሲለቀቅ ደግሞ ይወርዳል። በየቀኑ ጠዋት፣ ማታና ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለክታችሁ ቀን፣ ሰዓት፣ ቀለም፣ ሽታ፣ ዝናብ መኖር አለመኖሩን መዝግቡ። ወር ያህል ከመዘገባችሁ የሚለቀቅበት ሰዓት ራሱ ይወጣል። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ጨውን የተለመደው ማጣሪያም አያስቀረውም፣ ስለዚህ ማስተላለፉ የፍሳሹን መንገድ ያሳያል እንጂ ጥፋተኝነትን ብቻውን አያረጋግጥም።

ናሙና ከሦስት ቦታ ነው፦ ከፋብሪካው በላይ፣ ከቱቦው አፍ፣ ከፋብሪካው በታች። ከታች ብቻ ከተቀዳ «የከተማው ሽንት ቤትና የመኪና እጥበት ነው» ተብሎ ያልቃል። የታችኛው ቦታ ውኃው ተደባልቆ ያለቀበት መሆን አለበት፤ በግራ ዳር፣ በመሐልና በቀኝ ዳር ለኩ፣ ሦስቱ ሲቀራረቡ እዚያ ቅዱ። ፊታችሁን ወደ ምንጩ አዙራችሁ፣ ዝቃጩን ሳትረግጡ፣ ከላይ ተንሳፋፊውን ሳትይዙ።

ጠርሙሱና መጠበቂያው እንደ ምርመራው ይለያያል፤ ብዙ ውጤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ለጠቅላላ ክሮሚየም (ቆዳ የሚለፋበት ብረት፣ ክሮም) በአሲድ የታጠበ ፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ግማሽ ሊትር፣ ፒኤቹ ከ2 በታች እስኪሆን ናይትሪክ አሲድ። ለሰልፋይድ ዚንክ አሲቴትና ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ገብቶበት፣ አየር ሳይተርፍ እስከ አፉ ተሞልቶ ይከደናል፤ ጉርድ ከሆነ ሰልፋይዱ ጠፍቶ ወረቀቱ ላይ ዜሮ ይመጣል። ለቢኦዲ (ውኃው ውስጥ ያለው ብስባሽ የሚፈጀው የኦክስጅን ልክ) አንድ ሊትር፣ ምንም ሳይጨመርበት፣ በረዶ ባለው ሳጥን፣ ከ48 ሰዓት በፊት ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። የበለጠ መርዛማው ባለ ስድስት ቫለንስ ክሮሚየም ካስፈለገ 24 ሰዓት ብቻ ነው ያላችሁ። ዓርብ ከሰዓት ናሙና አይወሰድም፤ ቅዳሜና እሑድ ላቦራቶሪ ዝግ ነው። መጠበቂያ የተጨመረበትን ጠርሙስ በወንዙ ውኃ አታለቅልቁ፣ ሌላውን ሦስት ጊዜ አለቅልቁ። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ አስረካቢና ተረካቢ ሰዓቱን ጽፈው ይፈርሙ።

ውጤቱን ስታነቡ፦ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) መመሪያ ለከብት መጠጥ ክሮሚየም በሊትር ከ1 ሚሊ ግራም፣ ለመስኖ ከ0.1 መብለጥ የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት ለሰው መጠጥ ያስቀመጠው 0.05 ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፤ ልጆች ወደ ፍሳሽ ጉድጓዱ አይውረዱ። የገማ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ማለት አደጋው ሄደ ማለት አይደለም። ቱቦው አፍ ላይ ሲቀዳ ከውጭ በረጅም ዘንግ ይሁን።

የመስኩ ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ይህን ያህል ዝርዝር አልጠበቅሁም። ፋብሪካው ደግሞ «ማጣሪያ አለን» ይላል፤ አጥሩ ውስጥ ገንዳዎች ይታያሉ። ለዚህ ምን መልስ አለ?

ድራም፦

ገንዳ መኖሩና ገንዳ መሥራቱ ለየቅል ነው። ማጣሪያው ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚበላው አየር የሚነፋው ማሽን ነው፤ መብራት ለመቆጠብ ይጠፋል፣ እንግዳ ሲመጣ ይበራል። ስለዚህ «ማጣሪያ አላችሁ ወይ» ብላችሁ አትጠይቁ። ተቆጣጣሪው እነዚህን እንዲያይ ጠይቁ፦ የማጣሪያው የመብራት ቆጣሪ ንባብ ከወር ወር፣ የኬሚካል ግዥ ደረሰኝ፣ የዝቃጭ ማስወገጃ መዝገብ። የሚሠራ ማጣሪያ ዝቃጭ ያወጣል። ዝቃጩ የት እንደሄደ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ ማጣሪያው አልሠራም፣ ወይም ዝቃጩም ወንዝ ገብቷል።

የምታዩት ቀለም ብዙ ይናገራል። ነጭ ግራጫውና ፀጉር ያለበት የኖራና የሶዲየም ሰልፋይድ ዙር ነው፣ ፀጉር ማስለቀቂያው። ሰማያዊ አረንጓዴው ክሮም ነው፤ በተለመደው አሠራር ቆዳው የሚይዘው ከክሮሙ 60 እስከ 70 በመቶ ገደማ ነው፣ ቀሪው ከውኃው ጋር ይወጣል። ሁለቱ ቀለሞች ተለያይተው ወንዝ መድረሳቸው ራሱ ማስረጃ ነው። መጀመሪያ ማደባለቂያ ገንዳ ውስጥ ቢያልፍ ኖሮ ቀለሙ ከቀን ቀን እንዲህ አይለያይም ነበር። በሞባይል ፎቶ ስታነሡ ቦታና ሰዓት መመዝገቢያውን አብሩት፣ የቱቦው አፍና አንድ የማይንቀሳቀስ ነገር (ድልድይ፣ ዛፍ) አብረው ይግቡ።

ስለ መዘጋት ያነሣኸው ትክክል ነው፤ ጥያቄያችሁን ወደ ሥራ አውርዱት። የኖራው ፍሳሽና የክሮሙ ፍሳሽ በተለያየ ቦይ ይውጡ። የክሮሙ ፍሳሽ ለብቻው ፒኤቹ ከ8 እስከ 9 እንዲደርስ ማግኒዚየም ኦክሳይድ ይጨመርበት፤ ክሮሙ ይዘቅጣል፣ ዝቃጩ በሰልፈሪክ አሲድ ሟሙቶ ተመልሶ ለማልፋት ይውላል፣ ፋብሪካውም የክሮም ወጪው ይቀንሳል። የኖራው ፍሳሽ ማንጋኒዝ ሰልፌት ተጨምሮበት አየር ሲነፋበት ሰልፋይዱ ይጠፋል። ይህ ሳይደረግ ከአሲዱ ፍሳሽ ጋር ከተቀላቀለ ያ የገማ እንቁላል የሚሸተው መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል፣ ቀድሞ የሚጎዳውም እዚያው የሚሠራው የሰፈራችሁ ልጅ ነው። ይህን ለሠራተኞቹ አስረዷቸው፤ ከእናንተ ጋር የሚቆሙበት ምክንያት የራሳቸው ሳንባ ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ የጊዜ ገደብ ያለው የጽሑፍ ትእዛዝ ይሰጥ በሉ። «ብክለቱ ይቁም» የሚል ጥያቄ አንድ ሳምንት ቱቦውን በመዝጋት ይመለሳል፣ ከዚያ ሌሊት ይለቀቃል።

የከብት ሐኪም፦

ከብቱን የጎዳው ፋብሪካው ነው ብላችሁ ከጀመራችሁ ለተከራካሪ በር ትከፍታላችሁ። በወንዝ ዳር ረግረግ የጉበት ትል አለ፤ ያከሳል፣ ያስቀምጣል። ከተማ አጠገብ የሚሰማራ ከብት ጨጓራው ውስጥ ፌስታል ተጠቅልሎ ይገኛል። ጽንስ የሚያስጥሉ ተላላፊ በሽታዎችም አሉ። እነዚህ በምርመራ ካልተለዩ ፋብሪካው ያነሣቸዋል።

መዝገብ ያዙ፦ ባለቤት፣ የከብቱ መልክና ዕድሜ፣ የሚጠጣበት ቦታ፣ የታመመበት ቀን፣ ምልክቱ፣ የተሰጠው መድኃኒት። ከዚያ ከፋብሪካው በላይ ከሚጠጣ መንጋ ተመሳሳይ መዝገብ ያዙ። ግጦሹ አንድ ዓይነት፣ ዝርያው አንድ ዓይነት ሆኖ ከታች ያለው ብቻ ከታመመ ክርክራችሁ እግር አወጣ። ይህን ሰው ይንቀዋል፤ ከላቦራቶሪ ወረቀት ባልተናነሰ የሚያሳምነው ግን እሱ ነው።

ከብት በድንገት ሞቶ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ያልረጋ ደም ከወጣ አትክፈቱት። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል፤ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። ሌላውን ሬሳ ባለሙያ በቶሎ ይክፈተው፤ በሙቀት ከ12 ሰዓት በላይ ከቆየ ጉበቱ ለማየት አይሆንም። ከጉበትና ከኩላሊት መቶ መቶ ግራም ያህል በተለያየ ንጹሕ ዕቃ፣ በረዶ ላይ፤ ከጨጓራው ይዘት ግማሽ ኪሎ። ሌላ ቁራጭ፣ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያልወፈረ፣ በአሥር እጥፍ ፎርማሊን ውስጥ። ፎርማሊን የነካው ለመርዝ ምርመራ አይሆንም፤ አንድ ላይ አታድርጉት። ሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የትኛውን ምርመራ እንደሚሠራ በወረዳው በኩል አስቀድማችሁ ጠይቁ። የሞተው ከብት ሥጋ ለሰውም ለውሻም አይሰጥ።

የሚንገዳገድ ወይም ዓይኑ የፈዘዘ ከብት ጨው በዝቶበት ሊሆን ይችላል። ንጹሕ ውኃ አግኝቶ እስኪጠግብ ቢጠጣ አንጎሉ ያብጣል፤ ትንሽ ትንሽ፣ እያሳረፋችሁ አጠጡት። ጤነኛው ግን ከዛሬ ጀምሮ ከወንዙ ይራቅ።

ገንዳ ሠሪ፦

ይህን የመጨረሻውን ላሟላ። በቀን ለአገር ከብት 40 ሊትር፣ ለአህያ 20፣ ለበግና ለፍየል 5 አስቡ፤ የምትታለብ ዲቃላ ላም እስከ 100 ትደርሳለች። 40 ከብት፣ 10 አህያ፣ 60 በግ ያለው መንደር 2,100 ሊትር ይበቃዋል። 20 ሊትር ጀሪካን በ10 ደቂቃ የሚሞላ ምንጭ በ24 ሰዓት 2,880 ሊትር ይሰጣል፤ ሌሊቱን በ3,000 ሊትር ሮቶ ከተጠራቀመ ይበቃል ማለት ነው። ማጠራቀሚያ ከሌለ ግን ያው ምንጭ ቀን ላይ አይበቃም።

የገንዳው ከንፈር ለከብት ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ለበግና ለጥጃ 30። ዙሪያውን ሁለት ሜትር ድንጋይ አንጥፉ፤ ጭቃ ከሆነ ሸኾና ይበሰብሳል፣ የጉበት ትሉን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣም ይራባል። ትርፉ ውኃ በቦይ ይራቅ፣ ከሥር ማጠቢያ ቡሽ ይኑረው። ቦታው መንጋው ወንዝ ሳይደርስ የሚያልፍበት ይሁን፤ የለመደውን ወንዝ አልፎ ወደ ገንዳ የሚመለስ ከብት የለም። ወደ ወንዙ የሚያወርዱትን መንገዶች ገንዳው ሥራ በጀመረበት ቀን በእሾህ ዝጉ፤ አስቀድማችሁ ከዘጋችሁ እረኞቹ አጥሩን ያፈርሱታል።