የራሴን የቱርቦና የፍሬን ጌጅ ቪዲዮ ላይ ስደርብ ቁጥሩም ጊዜውም አልገጥም አለኝ

ኩርባ_ቆራጭ

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ቱርቦ ያለው ሱባሩ ነው፤ ቀረጻው አዲስ አበባ ነው። ካሜራው ጎፕሮ ሂሮ 11 (በሰከንድ 59.94 ፍሬም)፣ መዝጋቢው ስልክ ላይ ያለው የሬስክሮኖ አፕ፣ መኪናውን የሚያነበው ደግሞ የብሉቱዝ ኦቢዲ አዳፕተር (የመኪናው የምርመራ ሶኬት ላይ የሚሰካው) ነው። ዝግጁ ጌጆቹ ስላልተመቹኝ ሲኤስቪውን (የንባቦቹን ሠንጠረዥ ፋይል) አውጥቼ በፓይተን ፍሬም በፍሬም ፒኤንጂ ምስል እሥላለሁ፤ ከዚያ ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ውስጥ ቪዲዮው ላይ እደርበዋለሁ።

የማይገባኝ እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ብቻ ስከፍት ጌጁ ዜሮ ማለት ሲገባው −0.25 ባር ይላል። መርፌው በየመሃሉ ወደ ታች ይወረወርና ይመለሳል። መጀመሪያ ላይ ልክ የነበረው ጌጅ ደግሞ 20ኛው ደቂቃ ላይ ከሞተሩ ድምፅ ከአንድ ሰከንድ በላይ ይዘገያል። የፍሬን ግፊትም መጨመር ፈልጌ ኦቢዲው ላይ አጣሁት።

ስሌቴ፦ ቱርቦ = (ማኒፎልድ ግፊት − 101) ÷ 100፤ ማኒፎልድ አየሩ ወደ ሞተሩ የሚገባበት ቱቦ ነው፣ ግፊቱ በኪሎፓስካል፣ ውጤቱ በባር። የማስነብባቸው ቻናሎች የሞተር ዙር፣ ፍጥነት፣ ማኒፎልድ ግፊት፣ የነዳጅ መርገጫ፣ የውሃ ሙቀትና የመሳቢያ አየር ሙቀት ናቸው።

ባለ76

−0.25ቷ የአዲስ አበባ ከፍታ ናት። 101 ኪሎፓስካል የባሕር ጠለል ግፊት ነው። 2,350 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ራሱ 76 አካባቢ ስለሆነ 76 − 101 = −25 ይመጣል። ሙሉ ነዳጅ ስትረግጥም ያው ስህተት አብሮህ ይሄዳል፤ ማኒፎልዱ 196 ሲል የአንተ ጌጅ 0.95 ይላል፣ ቱርቦው ግን ከውጭው አየር በላይ 1.2 ባር እየገፋ ነው።

የውጭ አየር ግፊት በኦቢዲ ፒአይዲ (የአንድ ንባብ መጠየቂያ ኮድ) 33 ላይ አለ፤ ማኒፎልዱ ፒአይዲ 0ቢ ነው። ሁለቱም በአንድ ባይት ስለሚመጡ ቁጥሩ በቀጥታ ኪሎፓስካል ነው፣ ማባዛት የለበትም። መኪናህ 33ን ካልመለሰ ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ክፈትና የማኒፎልዱን ንባብ ውሰድ፤ ያ የዕለቱ ዜሮህ ነው። እንጦጦ ወጥተህ ከቀረጽክ እዚያው እንደገና ለካ።

አንድ ባይት ከ255 አያልፍም። ስለዚህ አንተ ጋ በዚህ ፒአይዲ የሚታየው ከፍተኛ ግፊት 255 − 76 = 179፣ ማለትም 1.79 ባር ነው። መርፌው እዚያ ላይ ደርሶ ቀጥ ብሎ ከቆመ ቱርቦው ሳይሆን ቁጥሩ ነው ጣሪያ የነካው።

ስለ መርፌው መወርወር፣ ሲወርድ ያለበትን ቦታ ሲኤስቪው ላይ ፈልገህ ጥቂት መስመር ለጥፍልን።

ኩርባ_ቆራጭ

ጊዜና ማኒፎልድ ብቻ ቆርጬ፦

412.30 ፤ 171
412.35 ፤
412.40 ፤
412.45 ፤ 174

ባለ76

ይኸው፣ መሃል ያሉት ሁለቱ ባዶ ናቸው። ፋይሉ ውስጥ ጂፒኤሱም ኦቢዲውም በየራሳቸው ሰዓት ነው የሚጽፉት፤ አንዱ ሲጽፍ የሌላው ሴል ባዶ ሊቀር ይችላል። ኮድህ ውስጥ ባዶውን በዜሮ የሚሞላ መስመር መኖር አለበት። ዜሮ ሲገባ (0 − 101) ÷ 100 = −1.01 ይሆናል፣ መርፌው መሬት ይነካል።

ለእያንዳንዱ ቻናል ባዶዎቹን ጥለህ እውነተኛ ንባቦችን ብቻ አስቀር፤ ከዚያ በሁለት ንባቦች መካከል በቀጥታ መስመር እያገናኘህ የየፍሬሙን ዋጋ አውጣ። ማርሽ ስታሳይ ግን አታገናኝ፤ ከ2 ወደ 3 ሲቀየር 2.4 የሚባል ማርሽ የለም፣ የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ ይቆይ። በንባቦች መካከል ግማሽ ሰከንድ ካለፈ አዳፕተሩ ተቋርጧል ማለት ነው፤ እዚያ ላይ መርፌውን ማደብዘዝ የሌለ መረጃ ከመሣል ይሻላል።

ስድስት ቻናልም በዝቷል። አዳፕተሩ አንዱን ጠይቆ መልስ ሳያገኝ ሌላውን አይጠይቅም። በሰከንድ 15 ጥያቄ የሚችል ከሆነ ለእያንዳንዱ 2.5 ነው የሚደርሰው፤ በዚህ ቱርቦ ሲነሳ አታየውም። ፍጥነትን ከጂፒኤሱ ውሰድ፣ ሁለቱን ሙቀቶች አውጣ፤ ለቀሩት ሦስቱ 5 5 ይደርሳቸዋል።

ክር_በክር

ወደ መዘግየቱ ልምጣ። በኮዱ ፍሬሞቹን በ60 እየሣልክ ከሆነ ምክንያቱ እሱ ነው። ካሜራው 60 ቢልህም እውነተኛው 60000 ÷ 1001 ነው። ልዩነቱ ከሺህ አንድ ስለሆነ በ1,200 ሰከንድ ውስጥ 1.2 ሰከንድ ይሆናል፤ ከአንድ ሰከንድ በላይ ያልከው ያው ነው። ሪዞልቭ የፒኤንጂውን ሰልፍ በፕሮጀክቱ የ59.94 ፍጥነት ስለሚያጫውተው ጌጁ እየዘገየ ይሄዳል። የእያንዳንዱ ፍሬም ጊዜ በሰከንድ = የፍሬሙ ቁጥር × 1001 ÷ 60000 ይሁን። ሪዞልቭ ውስጥ ቪዲዮውን ሳብ አድርገህ ማስገጠም አይጠቅምህም፤ ሥዕሉ ራሱ በትክክለኛው ሰዓት ይሣል።

ከመቅረጽህ በፊት መኪናው ቆሞ ነዳጁን ሦስት ጊዜ ጠቅ ጠቅ አድርግ፤ ስትጨርስም ድገመው። የድምፁን ጫፍና የሞተር ዙሩን ጫፍ በሁለቱም ቦታ አወዳድር። ልዩነቱ መጀመሪያም መጨረሻም እኩል ከሆነ መነሻውን ማንሸራተት ብቻ ነው። እያደገ ከሄደ ችግሩ የፍሬም ፍጥነቱ ነው። አንድ ቦታ ላይ በድንገት ከዘለለ ጎፕሮው ፋይሉን የከፈለበትን መጋጠሚያ ተመልከት፤ ክፍልፋዮቹ በተራቸው ሳይቀጠሉ ወይም አንዱ ተረስቶ ሊሆን ይችላል።

ነጭ_መስመር

20 ደቂቃ ማለት ወደ 72,000 ፒኤንጂ ነው፣ ዲስክህን ይጨርሰዋል። አረንጓዴ ጀርባ ላይ ሥለህ ኤምፒ4 አድርገው፣ ሪዞልቭ ውስጥ አረንጓዴውን ታጠፋዋለህ።

ክር_በክር

ለዚህ ሥራ አረንጓዴውን አልመክርም። የተለመደው ኤምፒ4 ቀለሙን ከብርሃኑ ባነሰ ጥራት ነው የሚይዘው፤ ቀጭን ቀይ መርፌ አረንጓዴ ላይ ሲሣል ዳሩ ይቆሽሻል፣ ስታጠፋው ጫፉ አብሮ ይበላል። ግልጽነት የሚይዝ ፎርማት ተጠቀም፣ ፕሮሬስ 4444 ይበቃል። ፓይተኑ ምስሉን ወደ ዲስክ ሳይጽፍ በቀጥታ ለኤፍኤፍኤምፔግ (የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም) ቢያቀብለው አንድ ፋይል ብቻ ይወጣል። ጌጁንም በ4ኬ ሙሉ ስክሪን አትሣለው፤ 500 በ500 ፒክሰል ሠርተህ ሪዞልቭ ውስጥ ቦታውን አስይዘው። በሰከንድ 5 ንባብ ላለው መርፌ 29.97ም ከበቂ በላይ ነው፤ ያን ጊዜ ስሌቱ 1001 ÷ 30000 ይሆናል።

ፒት_ዱባይ

ፍሬኑን በመደበኛው ኦቢዲ አታገኘውም፣ ፒአይዲ የለውም። ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው መኪናው ራሱ በካን መስመር (የመኪናው ሞጁሎች መረጃ የሚለዋወጡበት ሽቦ) የሚያወራውን ማድመጥ ነው። ለምሳሌ የመጀመሪያው ትውልድ ቶዮታ ጂቲ86 መለያ ቁጥር 209 በሆነው መልእክት 3ኛ ባይት ላይ ፍሬን አለው፤ ለ0.7 አካፍለህ ከ100 እንዳያልፍ ስትገድበው በመቶኛ ታገኘዋለህ። የአንተ ቁጥር ሌላ ሊሆን ስለሚችል ከመኮረጅህ በፊት ቆመህ ፔዳሉን እየረገጥክ የትኛው ባይት ከእግርህ ጋር እንደሚወጣና እንደሚወርድ እይ። ካን ማድመጥ የሚችል አዳፕተር ያስፈልግሃል፤ አዳዲስ መኪኖች ደግሞ ኦቢዲ ሶኬቱ ፊት በር ጠባቂ ሞጁል ስላላቸው እዚያ ምንም ላይሰማ ይችላል። በራስህ ሽቦ የምትቀጥል ከሆነ የ120 ኦም ማቋረጫ አትጨምር፤ ሁለቱ ጫፎች ላይ ድሮውንም አለ። ባትሪው ተነቅሎ በካን ሃይና በካን ሎው (በመስመሩ ሁለት ሽቦዎች) መካከል 60 ኦም ካነበብክ መስመሩ ጤነኛ ነው።

ሁለተኛው ሴንሰር ነው። ባለ ሦስት ሽቦ፣ በ5 ቮልት የሚሠራ፣ ከ0.5 እስከ 4.5 ቮልት የሚመልስ፣ 138 ባር የሚችልና ከፍሬን ዘይት ጋር የሚስማማ። የ100 ባሩን አትግዛ፣ በጠንካራ ፍሬን ጣሪያውን ሊነካ ይችላል። ባር = (ቮልት − 0.5) × 34.5፤ ስለዚህ 2.5 ቮልት 69 ባር ነው። ወደ ኢኤስፒ32 (ንባቡን የሚቀበልህ ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ) ከማስገባትህ በፊት ከሴንሰሩ በኩል 10 ኪሎኦም፣ ወደ መሬት 20 ኪሎኦም አድርገህ ከፋፍለው፤ 4.5ቱ ወደ 3 ቮልት ይወርዳል። የኢኤስፒው የራሱ መለኪያ ጫፉ ላይ ስለሚዋሽ በ3.3 ቮልት የሚሠራ ኤዲኤስ1115 (የቮልት መለኪያ ቺፕ) በመሃል ይግባ። ሬስክሮኖ ከእንዲህ ያለ ራስ ሠራሽ መሣሪያ በብሉቱዝ ይቀበላል።

የእነዚህ ሴንሰሮች መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከመጋቢው 5 ቮልት ጋር አብሮ ይወርዳል። መጋቢው 4.8 ከሆነ ዜሮው 0.48 ላይ ነው፣ ስለዚህ እግርህን አንስተህ ያነበብከውን ዜሮ ኮዱ ውስጥ አስገባ።

ኩርባ_ቆራጭ

ባዶዎቹን ጥዬ፣ 76ን አስገብቼ፣ በ1001 ÷ 60000 ደግሜ ሣልኩት። መርፌው አይወረወርም፣ መጨረሻ ላይም ከድምፁ ጋር ገጠመ። ፒአይዲ 33 ይመልሳል፣ 76 ነው ያለው። የፍሬን ሴንሰሩ የት ይግባ? ከኤቢኤሱ (ጎማ እንዳይቆለፍ የፍሬን ግፊቱን ከሚቆጣጠረው ሞጁል) በፊት ወይስ በኋላ?

ፒት_ዱባይ

ከማስተሩ (ፔዳሉ ከሚገፋው የፍሬን ፓምፕ) እስከ ኤቢኤስ ባለው መስመር ላይ። እዚያ የእግርህን ግፊት ነው የምታነበው፤ ከኤቢኤሱ በኋላ ካስገባኸው ሞጁሉ ሲለቅና ሲይዝ መርፌው ይንቀጠቀጣል። የመኪናህ ቧንቧ ጥርስ ኤም10×1 ከሆነ ሴንሰሩም መጋጠሚያውም ኤም10×1 ይሁን፤ ኤንፒቲ ጥርስ ያለውን በቴፍሎን ጠቅልሎ ማስገደድ አይሆንም፣ ያ መስመር 100 ባር ይሸከማል። ከገጠምክ በኋላ አየሩን አስወጣ፣ ፔዳሉን አንድ ደቂቃ አጥብቀህ ረግጠህ ቆይና መጋጠሚያውን በነጭ ሶፍት ጥረገው። ሶፍቱ ከረጠበ መኪናው አይንቀሳቀስ።