ጥቆማ፦ የተፈረመበት የተጫዋች ካርድ፣ የሚሸጠውና የማይሸጠው

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ሁለት ፊርማ ያለባቸው የኳስ ተጫዋች ካርዶች አሉኝ። አንዱን አጎቴ ከውጭ አምጥቶልኛል። ሌላውን ራሴ ባሕር ዳር ስታዲየም በር ላይ አስፈርሜዋለሁ፤ ስሜም ተጽፎበታል። የትኛው ዋጋ ያወጣል? ለማሳሸግና ፍሬም ለማስገባትስ ባሕር ዳር ይሻላል ደብረ ማርቆስ?

መልስ፦ ወንድም ዓለም፣ ሁለቱን በአንድ ሚዛን አትመዝናቸው።

ገበያ ያለው አጎትህ ያመጣልህ ነው። አፐር ዴክ የተባለው የካርድ አምራች በ1990 እ.ኤ.አ. የቤዝቦል ተጫዋቹ ሬጂ ጃክሰን የፈረመባቸውን 2,500 ካርዶች በሚሸጡ ጥቅሎች ውስጥ በትኖ ነበር፤ ዛሬ ይህ የተለመደ አሠራር ነው። የአጎትህም እንዲህ ያለ ከሆነ ለፊርማው እውነተኛነት ዋስ የሚሆነው አምራቹ ስለሆነ የካርዱን ጀርባ አንብብ። ከዚያ ካርዱን ወደ ብርሃን አዘንብለህ ከጎን እየው፤ ፊርማው ያረፈው በተለጣፊ ላይ ከሆነ ጠርዙ ይታይሃል። በቀጥታ ካርዱ ላይ የተፈረመው የተሻለ ያወጣል። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾቹ ማይክል ጆርዳንና ኮቢ ብራያንት የፈረሙበት ካርድ በጨረታ 12.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሽጧል፤ የዚያ ዓይነት ካርድ ግን በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው።

ስምህ ያለበት ካርድ ገበያ ላይ ዋጋው ይወርዳል። ገዢው አንተ አይደለምና ስምህ ለእርሱ ባዕድ ነው። ለእኔ ግን ውድ የሚባለው እርሱ ነው። እኔም አንድ አለኝ። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ባሕር ዳር ላይ አይቮሪ ኮስትን 2 ለ 1 ያሸነፉ ዕለት፣ ፎቶ ቤት ያሳተምሁትን ካርድ ይዤ ወጣሁ። ተጫዋቹ በሰማያዊ እስክሪብቶ ፈረመልኝ። የሚያብረቀርቀው ወረቀት ቀለሙን አልቀበል ብሎ የመጀመሪያው ፊደል ተቆራረጠ፤ ሁለተኛ ጊዜ ተጭኖ ጻፈው። ዛሬም ጀርባውን በጣቴ ስዳብስ ያ ፊደል ጎርበጥ ይለኛል። ማንም ምን ቢከፍለኝ አልሰጠውም።

አሁን ወደ ጠየቅኸኝ። ላሚኔሽን፣ ማለትም በላስቲክ ማሳሸግ፣ ፈጽሞ አታስደርግ፣ የትኛውም ከተማ ቢሆን። ሌላ የተፈረመ ካርድ ነበረኝ፤ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ሰጥቼው በማሽኑ ሙቀት ፊርማው ፈስሶ ወጣ። ላስቲኩ ከወረቀቱ ጋር ስለሚጣበቅ መላጥም አይቻልም። እንባዬ መጣ።

ማቀፊያን በተመለከተ፣ በየጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ የሚሸጠው ለስላሳው የመታወቂያ ላስቲክ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ሽታ ያለው ዓይነት ከጊዜ በኋላ ቀለሙን ወደ ራሱ ይስባል። ጠንከር ያለውንና ሽታ የሌለውን ምረጥ። አልበም ስትገዛ ገጹ ሙጫ ያለውን ተውና ኪስ ያለውን ውሰድ። ሁለቱንም ደብረ ማርቆስ አግኝቻቸዋለሁ፤ ለዚህ ብለህ ባሕር ዳር ድረስ አትምጣ።

ለፍሬም ግን ባሕር ዳርን እመርጣለሁ፤ የሠሩልኝ ባለሙያዎች የነገርኋቸውን ሰምተው ሠርተዋል። ካርዱ መስታወቱን እንዳይነካ ዙሪያውን ወፍራም የካርቶን ክፈፍ እንዲያደርጉበት ንገራቸው። ከኋላ በሙጫ እንዳይለጥፉት አደራ። ፀሐይ ከሚያገኘው ግድግዳም አርቀው፤ የእስክሪብቶ ቀለም በብርሃን ይደበዝዛል። የክረምት እርጥበት ወረቀት ስለሚያጎብጥ፣ ደረቅ ቦታ ብታኖረው ለካርዱም ይሻለዋል።

ፊርማ መርምረው ማረጋገጫ የሚሰጡት እንደ ፒ ኤስ ኤ እና ቤኬት ያሉት አሜሪካ ናቸው፣ ክፍያውም በዶላር ነው። የሚፈርዱት አስቀድሞ ከሚያውቁት ናሙና ጋር አነጻጽረው ነው። ስለዚህ የስታዲየሙን ካርድ አትላክ፤ ወጪው ከሚያወጣው ዋጋ ይበልጣል። የአጎትህን ለመላክ ከወሰንህ በፖስታ ቤት ፈጣን መልእክት (ኢ ኤም ኤስ) መከታተያ ቁጥር አስይዘህ ላክ። በተራ ደብዳቤ ከላክኸው ቢጠፋ መከታተያ የለህም። ሻጭ ነኝ የሚል ሰው የማረጋገጫ ወረቀት ስላሳየህ ብቻም አትመን፤ ኤፍ ቢ አይ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የያዛቸው የሐሰት ፊርማ ነጋዴዎች ወረቀትም አብረው ይሰጡ ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ የስታዲየሙ ካርድ የተፈረመው በእስክሪብቶ ነው በማርከር? ያለ ማቀፊያስ ስንት ጊዜ ቆየ? ይህን ጻፍልኝና የትኛው ማቀፊያ እንደሚስማማው እነግርሃለሁ። እስከዚያው በንጹሕ ነጭ ወረቀት ጠቅልለህ መጽሐፍ መካከል አስቀምጠው።