ሳቅ ያለበት የፍቅር መጽሐፍ መደርደሪያችን ላይ ይቀመጥ ወይስ ይነሣ? የደብረ ብርሃን የንባብ ቡድን ክርክር

የጠባሴዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ያልተገኛችሁ እንድትከተሉ ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። የንባብ ክፍላችን ውስጥ የነበሩ ሁለት የፍቅር ኮሜዲ ልብ ወለዶች ከመደርደሪያው ተነሥተው ሳጥን ገብተዋል። የተሰጠው ምክንያት «ለሴት ልጆቻችን የሚመከር ንባብ አይደለም» የሚል ነው። በዚያው ዕለት የተዋጣው ብር ሃያ መጽሐፍ እንደሚገዛ ተነገረን። እኔ ከሃያው አምስቱ እንደነዚያ ያሉ ይሁኑ ስል ግማሹ ሰው ሳቀ፣ ግማሹ ተቆጣ። እንግዲህ እዚሁ በጽሑፍ ይዋጣልን።

የእኔ አቋም ሁለቱ ይመለሱ፣ አምስትም ይጨመርባቸው ነው። የምሠራው በፈረቃ ነው። ከሌሊቱ ሥራ ወጥቼ ጠዋት ቤቴ ስደርስ የኅዳር ውርጭ ጣቶቼን አደንዝዞ የበሩን ቁልፍ እንኳ መያዝ ያቅተኛል። ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ሻይ ጥጄ፣ እንቅልፍ እስኪመጣ አሥር ገጽ አነባለሁ። የማነበው ሁለት ሰዎች በሆነ ባልሆነው ሲነታረኩ ከርመው፣ ሰፈሩ ሁሉ ያወቀውን መዋደዳቸውን ከሁሉ በኋላ ራሳቸው ሲደርሱበት ነው። ሳቅ ብዬ እተኛለሁ። ይህን ለእኔ ቢጤዎች የምንከለክልበት ምክንያት ምንድን ነው?

ጋሽ መምህር፦
ልጄ፣ መጽሐፎቹን ያነሣኋቸው እኔ ነኝ፤ አልደብቅም። ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ ሳስተምር ኖሬአለሁና ነገሩ ቢቆረቁረኝ አትፍረጂብኝ። ዋናው ጉዳዬ ብሩ ነው። የምንገዛው ሃያ ብቻ ነው። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ ወደዚያ ክፍል ስትገባ መጀመሪያ እጇ የሚያርፈው ምን ላይ ይሁን? በቋንቋችን የፍቅር ታሪክ መች ጠፋ! «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ታትሞ ስንቱን ትውልድ አሳደገ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሬዲዮ ያለው ቤት በጎረቤት ይሞላ ነበር፤ እኔም ከበሩ ሥር ቆሜ ሰምቻለሁ። ፍቅር አለበት፣ ሳቅ አለበት፣ አገር አለበት።

እነዚህኞቹ ግን ዛሬ ተነብበው ነገ ይረሳሉ። ብዙዎቹም ከእንግሊዝኛ በጥድፊያ የተመለሱ ናቸው። አንደኛው ውስጥ «ልቧ ጉሮሮዋ ውስጥ ዘለለ» የሚል አገኘሁ። የእኛ ሴት ልቧ ስንጥቅ ይላል፣ ይከዳታል፣ ትር ትር ይላል፤ ጉሮሮዋ ውስጥ ሲዘል ሰምቼ አላውቅም። እንዲህ ያለ አማርኛ ለልጅ ይሰጣል?

የጠባሴዋ፦
ጋሼ፣ በትርጉሙ ነገር ልክ ነዎት፤ እኔንም ያናድደኛል። የጠቀሱትን መጽሐፍ ግን እስቲ አብረን እንየው። ሦስት ጊዜ አንብቤው ሦስቱንም ጊዜ አልቅሻለሁ። ሰብለ ወንጌል ምን ሆነች? መነኮሰች፣ ሞተች፤ ከወደደችው ጋር የተገናኘችው በመቃብር ነው። ልጅ ሆኜ ያነበብኳቸውን የአማርኛ ልብ ወለዶች ሳስብ ወድዳ የተረፈች ሴት ትዝ አትለኝም። ወይ ትሞታለች፣ ወይ ትከዳለች፣ ወይ ዓለም በቃኝ ትላለች። የፍቅር ኮሜዲ መጨረሻው መልካም ነው፤ አንባቢዋ ይህን ከመጀመሪያው ገጽ ታውቀዋለች። መገናኘታቸውማ አይቀርም፤ የምትጓጓው እንዴት አድርገው የሚለውን ለማየት ነው። ሴት ልጅ ወድዳም ደስ ብሏት መኖር እንደምትችል ከመጽሐፍ ላይ አንድ ጊዜ ብታይ ምን ይጎዳታል?

የሥነ ጽሑፍ ተማሪዋ፦
እህቴ፣ አንዲት አምልጣሻለች። ብዙ ሰው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ሮም የታተመው በ1900 ነው። ባለታሪኳ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ወንድ መስላ ትጓዛለች፤ ብዙ መከራ ታያለች፤ መጨረሻው ግን ሰርግ ነው። ስለዚህ የአማርኛ ልብ ወለድ ሲጀመር ሴቲቱ አልሞተችም። ማዘን የለመድነው ከዚያ በኋላ ነው።

የመናቁ ነገር ደግሞ በእኛ አልተጀመረም። ጄን ኦስተን በ1811 በአውሮፓ አቆጣጠር የመጀመሪያ ልብ ወለዷን ስታሳትም መጽሐፉ ላይ የሰፈረው «በአንዲት እመቤት» የሚል ብቻ ነበር። በሕይወት ሳለች ስሟ አንድም መጽሐፏ ላይ አልወጣም። የምትጽፈው ስለ ትዳር፣ ስለ ጥሎሽ፣ በሻይ ሰዓት ስለሚወራ ወሬ ነበር፤ ሳቅም ሞልቶበታል። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለፈተና እናነባታለን። ከእኛው አህጉር ደግሞ የናይጄሪያዋን ካኖ ተመልከቱ። ሴቶች በሐውሳ ቋንቋ የፍቅር ልብ ወለድ እየጻፉ በርካሽ አሳትመው ገበያ ላይ ይሸጣሉ። በ2007 በአውሮፓ አቆጣጠር የግዛቲቱ አስተዳዳሪ ባሉበት እነዚያ መጻሕፍት በአደባባይ ተቃጠሉ። ጸሐፊዎቹ መጻፋቸውን አልተዉም። ጋሼን ከዚያ ጋር ማመሳሰሌ አይደለም፤ ያደረጉት ሳጥን ውስጥ ማስገባት ብቻ ነው። መንገዱ ግን ከሳጥን እንደሚጀምር ማየት አለብን።

የሁለት ልጆች እናት፦
እኔ አጭር ነው የምለው። ሳቁን አልጠላም። መኝታ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ የሚዘረዝር መጽሐፍ ግን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄ እጅ እንዲገባ አልፈቅድም። መደርደሪያው የጋራ ነው፣ ልጆቹም የጋራ ናቸው። ይህ ካልተለየ ብር አላዋጣም።

የመንዝ ልጅ፦
ወንድ ብሆንም ልግባበት። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ለገና መሐል ሜዳ ሄጄ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠናል፤ ታናሽ እህቴ ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱን ጮክ ብላ ታነብባለች፤ እናቴ ለባና የሚሆን የበግ ጠጉር ትፈትላለች። ታሪኩ ውስጥ ልጅቷ ለጓደኛዋ የጻፈችውን ስሞታ በስሕተት ስሞታው ለሚመለከተው ሰው ልካዋለች። እህቴ እዚያ ላይ ስትደርስ እንዝርቱ ቆመ። እናቴ «እና መለሰላት?» አለች። እህቴ «ነገ» ብላ መጽሐፉን አጠፈችው። በማግሥቱ ገና ሳይመሽ፣ ከብቶቹ ሳይገቡ፣ እናቴ ራሷ «ነይ እስቲ ያችን ልጅ ከምን አደረስሻት?» ብላ ጠራቻት።

መጽሐፉ ሲያልቅ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እናቴ አባታችንን መጀመሪያ ያየችበትን ቀን አወራችን። ምንጭ ዳር ነው፤ እንስራዋ ተሰንጥቆ ውኃው ጀርባዋ ላይ ሲወርድ እሱ ሳቀባት፤ እሷም ሰደበችው። ሽማግሌ የላከው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ይህን ታሪክ እስከዚያች ሌሊት ሰምቼው አላውቅም። ቁም ነገር የተባለ መጽሐፍ ለቤታችን ብዙ አስገብቻለሁ፤ የእናቴን አፍ ያስከፈተ ግን ያ ቀጭኑ ነው።

ደግሞ ፍቅርን ከሳቅ ጋር ማየት ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር አይመስለኝም። በሰርግ ቀን ልጃገረዶች በር ዘግተው ሚዜዎቹን በዘፈን እየሸነቆጡ አላስገባ ሲሉ የማያውቅ ማን አለ? ሚዜው ያፍራል፣ አማቾቹ ይስቃሉ፣ በሩም በመጨረሻ ይከፈታል።

የሕግ ባለሙያዋ፦
የመንዝ ልጅ፣ እናትህን ሳምልኝ። እኔን የመጽሐፉ ቀላል መሆን አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ የሚያስቀን ምኑ እንደሆነ ነው። ካነበብኳቸው ውስጥ ሰውየው ልጅቷን መንገድ እየዘጋ፣ ስልኳን እየነጠቀ፣ መሥሪያ ቤቷ ድረስ እየተከተለ፣ «እምቢ» ስትለው «እያፈረች ነው» እያለ፣ በስተመጨረሻ እሷም ወደደችው ተብሎ የሚያልቅ አለ። ይህ እኛ አገር ሳቅ አይደለም። በ1949 በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ሴት በሕጋዊ ጋብቻ ካገባት ከክስ ይድን ነበር። ይህ ማምለጫ የተዘጋው በ1997 ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። ከዚያ በፊት ተጠልፈው የተዳሩ እናቶች ዛሬም በየመንደራችን አሉ። «መጀመሪያ ጠልቼው ነበር» የሚለው ታሪክ ለእነሱ ምን እንደሆነ አስቡት።

ስለዚህ ይከልከል አልልም። መደርደሪያ ላይ ከመውጣቱ በፊት አንድ ሰው ያንብበውና ይህን ይመልስ፦ ልጅቷ «እምቢ» ስትል ሰውየው ምን አደረገ? ወደኋላ ከተመለሰ፣ ከተከፋም ተከፍቶ ከሄደ፣ ጥፋቱ ገብቶት ይቅርታ ከጠየቀ፣ ለእኔ ያ መጽሐፍ ለሴቶች ብቻ ሳይሆን ለወንድ ልጆችም ይሰጥ። ጥሩዎቹ የፍቅር ኮሜዲዎች አስኳላቸው ይኸው ነው፤ ሁለቱም ይሳሳታሉ፣ ሁለቱም ይታረማሉ።

ጋሽ መምህር፦
ይህን እኔ አላየሁትም ነበር። አማርኛውን ሳይ ሰውየውን ዘለልኩት።

መጽሐፍ ሻጩ፦
ከሱቄ ያየሁትን ልናገር። የፍቅር ኮሜዲ የሚገዙኝ ሴቶች ብዙ ናቸው፦ መምህራን፣ ነርሶች፣ የባንክ ሠራተኞች፣ ሱቅ ያላቸው። ታዲያ ብዙዎቹ «በጋዜጣ ጠቅልልልኝ» ይሉኛል። የፖለቲካ መጽሐፍ የሚገዛ ሰው እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። አንዲት ትልቅ ሴትዮ ለራሳቸው እየገዙ «ለልጄ ነው» ሲሉኝ አንጀቴን በሉት። እንዲያፍሩ ያደረግናቸው እኛው ነን።

ስለ መምከሩ ደግሞ፣ «የሚያስቅ ፍቅር ስጠኝ» የምትለኝን ሴት መጀመሪያ የምጠይቃት ባለፈው ጊዜ የወደደችው የትኛውን እንደሆነ ነው። አንዷ የምትወደው የእህትማማቾቹን ጨዋታ ነው፤ ፍቅሩ ባይኖርም ግድ የላት። ሌላዋ ዕድሜዋ ከአርባ ያለፈ፣ የፈታች፣ ልጅ ያላት ጀግና ትፈልጋለች፤ የሃያ ዓመት ኮረዳ ሰልችቷታል። ሌላዋ ደግሞ እንደዚህች እናት የመኝታ ክፍሉ በር ሲዘጋ ምዕራፉም የሚዘጋበትን ትለኛለች፤ እንዲህ ያሉም ሞልተዋልና ለልጆች እነሱ ይለዩላቸው፣ የቀሩት ለአዋቂ ይቀመጡ። እንግዲህ ከቀጭኑ ጀምራ ወደ ወፍራሙ የተሻገረች አለች፤ አሥር ዓመት ያንኑ ዓይነት የምታነብም አለች። ሁለቱም ደንበኞቼ ናቸው። ሁለተኛዋን «እደጊ» ብዬ አላውቅም።

ከአጣዬ የመጣሁት፦
ይህን ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። በ2013 ከተማችን ስትቃጠል ልጆቼን ይዤ በለበስኩት ልብስ ወጣሁ። እዚህ እህቴ ቤት ተጠጋን። ሰዎች አዝነውልኝ መጽሐፍ ይሰጡኝ ነበር፤ የታሪክ፣ የጦርነት፣ ስለ ጽናት የሚያወራ። ሁለት ገጽ ሳልዘልቅ እጄ ይንቀጠቀጣል። ክፉው ነገር የትኛው ገጽ ላይ ይመጣብኝ ይሆን እያልኩ ነበር የማነበው። የጸሎት መጽሐፌ ብቻ ነበር ያጽናናኝ፤ እሱንም በቃሌ ስለማውቀው ነው።

አንድ ቀን የእህቴ ጎረቤት አንድ ቀጭን መጽሐፍ ሰጠችኝ። ልጅቷ ዳቦ ቤት ትሠራለች። የሰርግ ኬክ ወደ ተሳሳተ ሰርግ ትልካለች። ትልቁ መከራዋ ይኸው ነው። ከዚህ የባሰ እንደማይመጣ አውቄ አነበብኩት። ሌሊት ላይ አንድ ቦታ ደርሼ ሳቅ አመለጠኝ። ትንሿ ልጄ ደንግጣ ነቃችና «እማ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ሳቄን ረስታው ነው።

ያን መጽሐፍ ማን እንደጻፈው እንኳ አላስታውስም። ጋሼ፣ ይረሳሉ ያሉት እውነት ነው፤ እኔም ረስቼዋለሁ። ልጄ የነቃችበትን ሌሊት ግን አልረሳውም።

ጋሽ መምህር፦
ልጄ፣ እግዜር ያጽናሽ። ሌላ የምለው የለኝም።

ከሁለት ቀን በኋላ ጋሽ መምህር፦
ሳጥኑን ከፍቼ ሁለቱንም አንብቤያቸዋለሁ። የመጀመሪያው ትርጉሙ ደካማ ነው፤ ዳር ዳሩ ላይ በእርሳስ አርሜዋለሁ፤ «ልቧ ጉሮሮዋ ውስጥ ዘለለ» የሚለውን «ልቧ ስንጥቅ አለ» ብዬዋለሁ። ሰውየው ግን ጨዋ ነው፤ «እምቢ» ስትለው ሄደ፣ ሦስት ምዕራፍ ሙሉም አልተመለሰም። ይህን ቅዳሜ ራሴ መደርደሪያው ላይ እመልሰዋለሁ። ሁለተኛውን አልመልስም። እሱ ውስጥ ልጅቷ ዘግታ ተኝታ ሳለ በር ገንጥሎ ይገባል፤ እሷም ትስቃለች። ከሃያው አምስቱ ይሁኑ ለሚለው ሦስት ብትሉኝ እስማማለሁ። አምስት ካላችሁ ግን በድምፅ ይወሰን፤ እኔ እቃወማለሁ።

የጠባሴዋ፦
ጋሼ፣ በእርሳስ ያረሙትን መጀመሪያ የምዋሰው እኔ ነኝ። በሁለተኛው ተስማምተናል። በቁጥሩ ግን አልተስማማንም፤ አምስት ነው የምለው፤ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ድምፅ እንስጥ። ክፍሉ ማሞቂያ የለውምና ጋቢ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።

የመንዝ ልጅ፦
እህቴ ያን መጽሐፍ ጨርሳ ሌላ ላክልኝ እያለችኝ ነው። እናቴ ደግሞ ልጅቷ ኮረዳ ባትሆን ትላለች፤ ልጆቿን የዳረች፣ ባሏ የሞተባት፣ ግን ደግሞ ሳቅ የማይለያት። እንዲህ ያለ አለ?

መጽሐፍ ሻጩ፦
አንድ አለኝ። ከሽያጭ አንሥቼ ለእናትህ አስቀምጬዋለሁ።