ባርቤዶስ ተቀምጦ ለአሜሪካ ድርጅት መሥራት

ጥያቄ፣ ከሜሪላንድ፦

ጤና ይስጥልኝ የተከበራችሁ ወገኖች። እኔና ባለቤቴ ግሪን ካርድ ካገኘን ሦስት ዓመት አልፎናል፤ ሁለት ልጆች አሉን። ሥራዬ የሶፍትዌር ፍተሻ ስለሆነ ከቤት ሆኜ ነው የምሠራው። ክረምቱም ኪራዩም ስለሰለቸን ለአንድ ዓመት ወደ ባርቤዶስ ሄደን ለመቀመጥ እያሰብን ነው። እዚያ የኖራችሁ ካላችሁ ኑሮው፣ ኢንተርኔቱና ታክሱ ምን እንደሚመስል ብትነግሩኝ ውለታችሁ አለብኝ።

መልስ፣ ከባርቤዶስ፦

ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልን። የምጽፍልዎ ከደሴቲቱ ደቡብ ዳርቻ፣ ክራይስት ቸርች ከሚባለው ወረዳ ነው፤ ለአንድ የቨርጂኒያ ድርጅት የሂሳብ ሥራ እየሠራሁ ከቤተሰቤ ጋር እዚህ እኖራለሁ። የጠየቁት ስለ ኑሮው፣ ስለ ኢንተርኔቱና ስለ ታክሱ ነው፤ እኔ ግን ጥያቄዎን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው ግሪን ካርዱ ላይ ነው። ባርቤዶስ ለመግባት ያን ያህል የምታስቸግር አገር አይደለችም፤ የሚያስቸግረው ከተነሡበት አገር ጋር ያለዎት የወረቀት ጉዳይ ሳይበላሽ መመለሱ ነው።

የመግቢያውን ነገር ባጭሩ ልጨርሰው። ፈቃዱ «ዌልካም ስታምፕ» ይባላል፤ በወረርሽኙ ምክንያት የቱሪስት ገቢ ሲደርቅ የባርቤዶስ መንግሥት በሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው። ለ12 ወር ይሰጣል፣ ይታደሳልም። አመልካቹ በዓመት ቢያንስ 50,000 የአሜሪካ ዶላር እንደሚያገኝ ማስታወቅና የጤና ኢንሹራንስ መያዝ ይጠበቅበታል፤ ክፍያው ለአንድ ሰው 2,000፣ ለቤተሰብ 3,000 የአሜሪካ ዶላር ነው። ከውጭ በሚመጣው ደመወዝዎ ላይ ባርቤዶስ የገቢ ግብር አትጠይቅም፤ በአንጻሩ እዚያው አገር ተቀጥሮ መሥራት አይፈቀድም። አንቲጓና ዶሚኒካም ተመሳሳይ ፈቃድ አላቸው፤ የአንቲጓው ለሁለት ዓመት፣ የዶሚኒካው ለ18 ወር የሚሰጥ ነው።

አሁን ወደ ግሪን ካርዱ እንምጣ። አንድ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከአሜሪካ ውጭ ከስድስት ወር በላይ ከቆየ፣ ዜግነት ሲያመለክት የሚቆጠርለት ተከታታይ ነዋሪነት እንደተቋረጠ ይገመታል፤ አለመቋረጡን በማስረጃ የማሳመን ሸክሙ በእርሱ ላይ ይወድቃል። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከቆየ ደግሞ ነዋሪነቱ በቀጥታ ይቋረጣል፤ ካርዱም ብቻውን ለመግቢያ አያገለግልም። ለዚህ መፍትሔው ሪኢንትሪ ፐርሚት የሚባለው የመመለሻ ፈቃድ ነው። እስከ ሁለት ዓመት የሚያገለግል ሲሆን ማመልከቻው የሚገባው አሜሪካ ውስጥ እያሉ ነው፤ ባርቤዶስ ከደረሱ በኋላ ትዝ ቢልዎ ዋጋ የለውም፤ ለአሻራውም ቀጠሮ ስለሚኖር ቲኬቱን ከዚያ ጋር ማጣጣም ያስፈልጋል። ደግሞም ይህ ፈቃድ መግቢያዎን እንጂ የዜግነት ቆጠራዎን አይጠብቅልዎትም። እርስዎና ባለቤትዎ ሦስት ዓመት ካለፋችሁ፣ ዜግነት ለማመልከት ለሚያስፈልገው አምስተኛ ዓመት የቀራችሁ ጥቂት ነው፤ ይህን አንድ ዓመት አሁን መውሰድ ቆጠራውን ወደ ኋላ ሊመልሰው ይችላል።

ታክሱ ደግሞ በተቃራኒው ይስብዎታል። አሜሪካ ዜጎቿንም ሆነ ግሪን ካርድ ያላቸውን የትም ቢኖሩ በገቢያቸው ላይ ግብር ታስከፍላለች። ውጭ አገር ሆነው ያገኙትን ደመወዝ እስከተወሰነ ጣሪያ ድረስ (ለ2025 ጣሪያው 130,000 ዶላር ነው) ከፌዴራል የገቢ ግብር ነጻ ለማድረግ ከሚቻልባቸው መንገዶች ለግሪን ካርድ ባለቤት የሚቀርበው በ12 ተከታታይ ወራት ውስጥ 330 ሙሉ ቀን ከአሜሪካ ውጭ መቆየት ነው። አስተውሉ፤ የታክስ ነጻነቱን ለማግኘት መራቅ አለብዎት፣ የዜግነት ቆጠራው እንዳይቋረጥ ደግሞ ከስድስት ወር ሳያልፍ መመለስ አለብዎት፤ ሁለቱን በአንድ ዓመት ውስጥ ማስማማት በጣም አስቸጋሪ ነው። በየቡናው ላይ «እዚያ ሄደህ ታክስ ሳትከፍል ትሠራለህ» እያሉ የሚያወሩ ወገኖች ይህን ክፍል አይናገሩም። በተጨማሪም ነጻ የሚወጣው የገቢ ግብሩ ብቻ ነው፤ የአሜሪካ ድርጅት ተቀጣሪ እስከሆኑ ድረስ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ተቀናሹ ይቀጥላል። ሜሪላንድም ቤትዎን፣ መንጃ ፈቃድዎንና መዝገብዎን እዚያው ትተው ለአንድ ዓመት ብቻ ስለወጡ ነዋሪዬ አይደሉም አትልም፤ ስለዚህ የስቴቱን ግብር እንደሚከፍሉ አስበው ቢነሡ ይሻላል። እኔ ብሆን ዜግነቱን አስቀድሜ ታክሱን እረሳው ነበር፤ ውሳኔው ግን የእርስዎና የባለቤትዎ ነው፣ ከኢሚግሬሽን ጠበቃም ጋር አንድ ሰዓት መነጋገር የሚያዋጣ ወጪ ነው።

ሌላው የአሠሪዎ ፈቃድ ነው። ከቤት መሥራት መፈቀዱ ከሌላ አገር መሥራት ተፈቅዷል ማለት አይደለም። በዋሽንግተን ዙሪያ ብዙዎቻችን የምንሠራው የፌዴራል መንግሥት ኮንትራት ላላቸው ድርጅቶች ነው፤ እንዲህ ባለው ሥራ ላይ ላፕቶፑን ከአገር ይዞ መውጣት ወይም ከውጭ ሆኖ ሲስተሙ ውስጥ መግባት ብዙ ጊዜ የተከለከለ ነው። ያሉበትን አገር በሚደብቅ ፕሮግራም (ቪፒኤን) ሸፍኜ እሠራለሁ ማለት ከሥራ ለመባረር መንገድ መጥረግ ነው። ፈቃዱን በጽሑፍ ያግኙ፤ የቃል «እሺ» አለቃ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። የጤና ኢንሹራንስዎም በውጭ አገር ምን ያህል እንደሚሸፍን በዚያው ይጠይቁ።

ኢንተርኔቱ የሚያሳስብ አይደለም። የፋይበር መስመር አብዛኛውን የደሴቲቱን ክፍል ይዳረሳል፤ ፍሎውና ዲጂሴል የሚባሉት ሁለቱ ኩባንያዎች ያቀርቡታል። በአንዱ የቤቱን መስመር፣ በሌላው የስልኩን ዳታ መያዝ ይበጃል፤ አንዱ ሲቋረጥ ስብሰባው ከስልክ ይቀጥላል። መብራት አልፎ አልፎ ስለሚጠፋ ራውተሩና ላፕቶፑ የሚሰካበት ዩፒኤስ የሚባል የመጠባበቂያ ባትሪ ያስፈልጋል። ሶኬቱ የአሜሪካ ዓይነት ነው፣ ኃይሉም 115 ቮልት ስለሆነ ከሜሪላንድ የሚያመጡት የእንጀራ ምጣድ ያለ ትራንስፎርመር ይሠራል፤ ከእንግሊዝ የሚመጡ ወገኖች ግን የራሳቸውን ምጣድ እዚያው ቢተዉት ይሻላል። እኔ በምገበያይባቸው ሱቆች ጤፍ አይገኝም፤ ይዘው ይምጡ። ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ ከ30 ዲግሪ ብዙም ስለማይርቅ ሊጡ ቶሎ ይቦካል፤ የሜሪላንዱን የቀን ስሌት ከተከተሉ ኮምጥጦ ይጠብቅዎታል።

ሰዓቱ ለእርስዎ እጅግ የተመቸ ነው። ባርቤዶስ ሰዓቷን በበጋና በክረምት አትቀይርም፤ በበጋ ከሜሪላንድ ጋር እኩል ናት፣ በክረምት በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ከአዲስ አበባ በሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች እዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን እዚያ 10 ሰዓት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቤተሰብ ለመደወል ከሥራ በፊት ያለው ጊዜ ይስማማል።

ኑሮው ርካሽ አይደለም። ከኪራይ ልሸሽ ብለው ከሆነ የሚመጡት ሐሳብዎን ያስተካክሉ። ሴንት ጄምስ የሚባለው ምዕራብ ዳርቻ የባለጸጎች መንደር ነው፤ ደቡቡ ይሻላል፣ ከባሕሩ ጥቂት ወደ ውስጥ ገባ ቢሉ ደግሞ የበለጠ ይቀንሳል። ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ የቱሪስት ወቅት ስለሆነ በዚያ ጊዜ የቤት ውል አይፈራረሙ። የባርቤዶስ ዶላር ከ1975 ጀምሮ ለአንድ የአሜሪካ ዶላር ሁለት ሆኖ የተተመነ ነው፤ የሱቅ ዋጋ ሲያዩ ለሁለት ማካፈል ነው። ካካፈሉ በኋላም ወተት፣ አይብ፣ የቁርስ እህልና ሥጋ ውድ ሆነው ይታዩዎታል፤ አብዛኛው በመርከብ የሚገባ ነው፣ በላዩም ቀረጥና 17.5 በመቶ ቫት አለበት። ዓሣ፣ ስኳር ድንች፣ ባሚያ፣ ሙዝና ብሬድፍሩት የሚባለው ትልቅ አረንጓዴ ፍሬ ግን የአገሩ ናቸው፤ ማዕድዎን በእነዚህ ላይ ካቆሙ በጀቱ ይተነፍሳል፣ የጾም ሰሞንም ያለ ችግር ያልፋል። መብራት በአመዛኙ ከውጭ በሚመጣ ነዳጅ ስለሚመነጭ ወርኃዊ ሒሳቡ ከባድ ነው፤ ኤሲ ሌሊቱን ሙሉ የሚያሠራ ቤተሰብ ወሩ ሲያልቅ ይደነግጣል። የቧንቧ ውሃው በኖራ ድንጋይ ውስጥ ተጣርቶ የሚወጣ ስለሆነ ይጠጣል።

ቤት ሲያዩ አከራዩን ከመስኮቱ ዕይታ ይልቅ ስለ ጣራው፣ ስለ መስኮት መከለያውና ስለ ውሃ ማጠራቀሚያው ይጠይቁ። የአውሎ ነፋስ ወቅት ከሰኔ 1 እስከ ኅዳር 30 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ነው። ባርቤዶስ ከሌሎቹ ደሴቶች ተነጥላ ወደ ምሥራቅ የወጣች በመሆኗ በቀጥታ የምትመታው አልፎ አልፎ ነው፤ ከ1955ቱ ጃኔት በኋላ እስከ 2021ዱ ኤልሳ ድረስ ከስድሳ ዓመት በላይ አልፏል። ይሁን እንጂ በ2024 ቤሪል በደቡብ በኩል ስታልፍ ደሴቲቱን በቀጥታ ሳትነካ የዓሣ አጥማጆቹን ጀልባዎች ሰባበረች፤ በግሬናዳ ሥር ያለችውን ካሪያኩን ግን አወደመቻት። በሚያዝያ 2021 የሴንት ቪንሰንት እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ ባሕሩን ተሻግሮ እዚህ ስለዘነበ አውሮፕላን ማረፊያው ተዘግቶ ነበር። ለእነዚህ ነገሮች አሠሪዎ ጥቂት ቀን የሚታገስ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል።

ከአውሎ ነፋሱ ይልቅ በየቀኑ የሚያሰለቸው ጨዉ ነው። ባሕሩ አጠገብ ባለ ቤት የመስኮት ማጠፊያው ይዝጋል፣ የላፕቶፑ የቻርጀር መሰኪያ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፤ እኔ የሥራ ላፕቶፔን ማታ ማታ እርጥበት ከሚመጥ ከረጢት ጋር በተዘጋ ሳጥን ውስጥ አሳድራለሁ። ከ2011 ጀምሮ ደግሞ ሳርጋሰም የሚባል ቡናማ የባሕር አረም በሞቃቱ ወራት ወደ ምሥራቁና ወደ ደቡቡ ዳርቻ እየተገፋ ይከመራል፤ ሲበሰብስ የሚያወጣው ጋዝ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ ብረትም ያጠቁራል። በፎቶ ያማረ ቤት በሐምሌ መስኮት የማይከፈትበት ሊሆን ይችላል።

ለመንቀሳቀስ መኪና ባይኖርዎትም ይቻላል። ዜድአር የሚባሉት ነጭ ሚኒባሶች ሙዚቃቸውን ከፍተው፣ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ እየተጣራ፣ ሞልቷል ያሉት ወንበር ላይ አንድ ሰው እየጨመረ ሲበሩ ከመገናኛ ወደ ቦሌ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ የተቀመጡ ይመስልዎታል። ሒሳቡ 3.50 የባርቤዶስ ዶላር ነው። ራስዎ ሲነዱ በግራ በኩል መሆኑን፣ ለጎብኚ የሚሰጥ የመንጃ ፈቃድም መግዛት እንዳለብዎ ያስታውሱ። አንድ ነገር ደግሞ ሻንጣ ሲያዘጋጁ፦ የወታደር ዓይነት ዝንጉርጉር ልብስ ለማንኛውም ሲቪል በሕግ የተከለከለ ነው፤ የልጆቹም ሱሪና ኮፍያ ቢሆን ይተዉት።

ሰዉ ጨዋ ነው፣ ሰላምታም ይጠብቃል። ሱቅ ገብተው «ደህና አደራችሁ» ሳይሉ ዋጋ ከጠየቁ የሚመለስልዎ መልስ ቀዝቃዛ ይሆናል። ከኢትዮጵያ መሆንዎ ሲታወቅ ደግሞ፣ በተለይ የሚያነጋግሩዎ ሰዎች ራስተፈሪያን ከሆኑ፣ አቀባበሉ ይለወጣል። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1966 እ.ኤ.አ. ትሪኒዳድና ጃማይካን የጎበኙበትን ጊዜ ከእኔ አብልጠው የሚያውቁ፣ ስለ ላሊበላና ስለ ሻሸመኔ በዝርዝር የሚጠይቁ ሰዎች አጋጥመውኛል። ስለ ጃንሆይ ያለዎት አስተያየት ምንም ይሁን፣ እነርሱ የሚናገሩት ስለ እምነታቸው መሆኑን ልብ ብሎ መመለስ ይገባል።

ጥያቄ፣ ከሚኒሶታ፦

እህቴ፣ ስለ ዝርዝሩ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ የአሜሪካ ዜግነት አለኝ፤ ባለቤቴ ግን የጥገኝነት ጉዳዩ ገና አልተወሰነም። እናቴም ከአዲስ አበባ መጥታ ከእኛ ጋር ጥቂት ወር ብትቆይ ደስ ይለናል። ይቻላል ወይ?

መልስ፣ ከባርቤዶስ፦

እህቴ፣ አሜን። የባለቤትዎ ጉዳይ ሳይወሰን መንቀሳቀሱ አደገኛ ነው። የጥገኝነት ማመልከቻው በሂደት ላይ ያለ ሰው አድቫንስ ፓሮል የሚባለውን ፈቃድ ሳይዝ ከአሜሪካ ከወጣ ማመልከቻውን እንደተወው ይቆጠራል፤ ፈቃዱን ይዞ መውጣቱም ጠበቃው ሳያየው የሚደረግ ነገር አይደለም። እኔ ብሆን ውሳኔው እስኪመጣ እጠብቃለሁ፤ ዌልካም ስታምፑ ለከርሞም ይኖራል።

የእናትዎ ችግር መንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባርቤዶስ ዋና ከተማ ብሪጅታውን ቀጥታ በረራ የለም፤ የተለመደው መሸጋገሪያ ለንደን፣ የአሜሪካ ወይም የካናዳ ከተሞች ናቸው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት አሜሪካም ካናዳም ለማለፍ ቪዛ ይጠይቃሉ፤ እንግሊዝም አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ ቢሆን የመሸጋገሪያ ቪዛ ትጠይቃለች፣ የሸንገን አገሮች ኤርፖርቶችም እንዲሁ። በአንድ ኤርፖርት የሚያልፍ ቲኬት ይምረጡ፤ በሁለት በኩል የሚያዞር ርካሽ ቲኬት ሁለት ቪዛ ማለት ሊሆን ይችላል። የእነዚህ አገሮች ቪዛ ቀድሞውኑ በፓስፖርታቸው ላይ ካለ ነገሩ ይቀልላል፤ የትኛው ቪዛ ለየትኛው መሸጋገሪያ እንደሚበቃ ግን አየር መንገዱን ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት ያረጋግጡ። ጊዜውን ደግሞ ለግንቦት ቢያደርጉት መልካም ነው፤ የቱሪስቱ ወቅት አልፎ ዋጋው ይረግባል፣ የአውሎ ነፋሱም ወቅት ገና አይጀምርም።