ማዲሰን፣ ዊስኮንሲን ለፒኤችዲ የሄዳችሁ፦ ከመነሳቴ በፊት ምን ልወቅ?

ከሐዋሳ_ነኝ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በሚመጣው ፎል ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዊስኮንሲን ማዲሰን ፒኤችዲ ልጀምር ነው። ቪዛዬ ኤፍ-1 (የተማሪ ቪዛ) ነው፣ 50 ፐርሰንት አሲስታንትሺፕ፣ ማለትም እየተማርኩ የምሠራው ደመወዝ ያለው ሥራ፣ ሰጥተውኛል። ስለ ትምህርቱ የጠየቅኩትን ሁሉ ዲፓርትመንቱ ቶሎ ይመልስልኛል፣ እሱ ላይ ችግር የለም። ስለ ኑሮው የሚነግረኝ ሰው ግን አጣሁ። ዩቲዩብ ላይ ያለው የሐበሻ ቪዲዮ ሁሉ ዲሲና ዳላስ ነው። ዊስኮንሲን ስል ሰው «ብርድ» ብሎ ዝም ይላል።

ቤት ከዚህ ሆኜ ልያዝ ወይስ ደርሼ ልፈልግ? ስንት ዶላር ይዤ ልምጣ? ባለቤቴም ትንሽ ቆይቶ ሊከተለኝ አስቧል፣ እዚያ መሥራት ይችላል ወይ?

ደግሞ አንድ ሰው ኦንላይን ላይ ካምፓሱ አጠገብ የሚያምር አፓርትመንት አሳይቶኛል። ዋጋው ከሌላው በግማሽ ያንሳል። «አሁን ለሥራ ውጭ አገር ነኝ፣ ቁልፉን በፖስታ እልክልሻለሁ፣ አንቺ ማስያዣውን በሐዋላ ላኪልኝ» ይላል። አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ ልትልክልኝ ፈቃደኛ ናት። ምን ትላላችሁ?

ሐይቅ_ዳር፦

እህቴ፣ አንድ ሳንቲም እንዳትልኪ! ቁልፍ በፖስታ የሚልክ አከራይ ማዲሰን ውስጥ የለም። ፎቶውን ጎግል ላይ ብትፈልጊው ያው ሳሎን በሌላ ከተማ ስም ሊወጣልሽ ይችላል። ከዚህ ሆነሽ መከራየት ይቻላል፣ ብዙዎቻችን እንደዚያ ነው የመጣነው። ግን በታወቀ የኪራይ ድርጅት ወይም በዩኒቨርሲቲው ቤቶች በኩል ይሁን፣ ካልሆነም ከዲፓርትመንትሽ አንድ ተማሪ ሄዶ ቤቱን በቪዲዮ ያሳይሽ። ለዲፓርትመንቱ ኢሜይል ጻፊ፣ የሚያሳይሽ ሰው አይጠፋም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ማዲሰን የምትመራው በኦገስት 15 ነው፣ በእኛ ነሐሴ 9 መሆኑ ነው። ካምፓሱ አካባቢ ያለው አብዛኛው የቤት ውል ኦገስት 14 ያልቅና አዲሱ በማግስቱ ይጀምራል። ስለዚህ የተማሪው ሰፈር በሙሉ በአንድ ጊዜ ዕቃውን ተሸክሞ መንገድ ላይ ይወጣል። አሮጌው ተከራይ በ14 ይወጣል፣ አዲሱ ቁልፍ የሚቀበለው በ15 ነው፣ መሀል ላይ ያለችውን ሌሊት ፍራሹን መኪና ላይ ጭኖ ጓደኛ ቤት የሚያድር ስንት አለ መሰለሽ። ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት የውልሽን ቀን እዪ። በኤፍ-1 ደግሞ ዩኒቨርሲቲው በሚልክልሽ አይ-20 በሚባለው ቅጽ ላይ ከተጻፈው የትምህርት መጀመሪያ ቀን ከ30 ቀን በላይ ቀድመሽ መግባት አይፈቀድልሽም።

የዚያ ሳምንት ጥሩ ጎንም አለው። «ሂፒ ክሪስማስ» ይሉታል። የወጣው ተማሪ መውሰድ ያልፈለገውን ሁሉ መንገድ ዳር ይደረድረዋል፦ ጠረጴዛ፣ መብራት፣ የመጻሕፍት መደርደሪያ፣ ማይክሮዌቭ። የፈለገ ያነሳል፣ ማንም አያፍርም፣ ፕሮፌሰርም ሲያነሳ አይቻለሁ። እንጨትና ብረት የሆነውን አንሺ። ፍራሽና ሶፋ ግን እንዳትነኪ፣ ትኋን ይዘሽ ትገቢያለሽ። ትኋን አሜሪካ የለም ያለሽ ካለ ዋሽቶሻል።

ሰፈርን በተመለከተ፣ ላንግደን መንገድና ሚፍሊን የአንደኛ ዲግሪ ልጆች የሚጨፍሩበት ነው። ሐሙስ ማታ መተኛት ከፈለግሽ ከዚያ ራቂ። ዊሊ ስትሪት፣ ቪላስ፣ ሪጀንት አካባቢ ለእኛ ዕድሜ ይሻላል። ካምፓሱ አጠገብ ለብቻ የሚሆን ስቱዲዮ ከ1,000 ዶላር በታች ማግኘት ከባድ ነው፣ ከሰው ጋር ብትጋሪ ይቀልልሻል። ግን አምስት ሆናችሁ አንድ ውል ላይ ከፈረማችሁ አንዱ ሳይከፍል ቢጠፋ የእሱንም ድርሻ አከራዩ ከእናንተ ሊጠይቅ ይችላል። እያንዳንዱ ለየራሱ የሚፈርምበት ውል ካለ እሱን ያዢ። «ዘንድሮ ካልፈረምሽ አለቀ» ለሚለው ደግሞ አትደንግጪ። አከራዮቹ ለሚቀጥለው ኦገስት ከኦክቶበር ጀምረው ያስፈርማሉ፣ ሰውም ይሯሯጣል። ቢሆንም እስከ ክረምታቸው መጨረሻ ድረስ የሚከራይ ክፍል አይጠፋም።

ሌላ ማንም የማይነግርሽ፦ ማሞቂያው ኪራዩ ውስጥ አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ። ከሌለ ጃንዋሪ ላይ የሚመጣው ቢል ራስ ያስይዛል። የከተማው የመብራትና የጋዝ ድርጅት ድረ ገጽ ላይ የቤቱን አድራሻ ስታስገቢ ባለፈው ዓመት በወር በአማካይ ስንት እንደከፈለ ይነግርሻል። አከራዩ «ትንሽ ነው» ሲልሽ እሱን አይተሽ ተከራከሪው።

ቤቱ እንደገባሽ ደግሞ ልብስሽን ከመስቀልሽ በፊት ስልክሽን አውጪና ሁሉንም ፎቶ አንሺ። የግድግዳውን ጭረት፣ የምድጃውን ውስጥ፣ የመስኮቱን መረብ፣ ምንጣፉ ላይ ያለውን የቡና ነጠብጣብ ሳይቀር። በዊስኮንሲን ሕግ ያለውን ብልሽት መርምረሽ ለአከራዩ ለማሳወቅ 7 ቀን አለሽ፣ ስትወጪ ደግሞ አከራዩ በ21 ቀን ውስጥ ወይ ማስያዣሽን ይመልሳል ወይ ለምን እንደቆረጠ ዘርዝሮ ይጽፋል። እኔን አንድ አከራይ እኔ ከመግባቴ በፊት ለተቃጠለ ምንጣፍ ሊያስከፍለኝ ሲል ፎቶውን ቀኑ እንዳለበት ላክሁለት። መልስ አልጻፈም፣ ገንዘቡ ግን ሙሉው መጣ።

የደሴ_ልጅ፦

ሐይቅ ዳር ስለ ቤት ጨርሶታል፣ እኔ ስለ ገንዘብ ልናገር።

አንደኛ፣ «የትምህርት ክፍያ ነፃ ነው» የሚለው ደብዳቤ ሁሉንም አይሸፍንም። ሴግሪጌትድ ፊ የሚባል በየሴሚስተሩ ከኪስሽ የሚወጣ አለ። በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፣ የሚመጣውም ገና ደመወዝ ሳታዪ ነው። የመጀመሪያው ደመወዝ እስኪገባ ሳምንታት ያልፋሉ፣ ኪራይና ማስያዣ ግን ከፊት ነው። ስለዚህ ይዘሽ የምትመጪውን ስታሰይ የሁለት ወር ተኩል ኪራይ የሚያህል ከነምግቡ አስቢ። ካልሞላልሽ ዲፓርትመንቱን የመግቢያ ድጋፍ አላችሁ ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ አትፈሪ። እኛ መጠየቅ ነውር ይመስለናል፣ እነሱ ካልተጠየቁ አይሰጡም።

ሁለተኛ፣ 50 ፐርሰንት ማለት በሳምንት 20 ሰዓት ነው። ኤፍ-1 በትምህርት ወቅት ካምፓስ ላይ የሚፈቅደውም 20 ሰዓት ነው። ሞልቷል ማለት ነው። «ማታ ማታ ምግብ እያደረስሽ ትሠሪያለሽ» የሚሉሽ ዘመዶች ይኖራሉ። ዲሲ ያለው የአጎትሽ ልጅ ግሪን ካርድ አለው፣ አንቺ የለሽም። በዚህ ቪዛሽን ብታበላሺ የሚያስተካክልልሽ የለም።

ሦስተኛ፣ ኢንሹራንስ። 33 ፐርሰንትና ከዚያ በላይ የተቀጠረ አሲስታንት የስቴቱን ሠራተኞች የጤና ኢንሹራንስ መግባት ይችላል፣ ለተማሪ ከሚሸጠው በጣም ይረክሳል። የምትመዘገቢው ግን ሥራሽ ከጀመረ በ30 ቀን ውስጥ ነው። ካለፈሽ ፎል ላይ ያለውን የምዝገባ ጊዜ ትጠብቂያለሽ። ለማንኛውም ጥርስሽን እዚያው አገር ቤት አሳክመሽ ነይ። የሚነቀል ካለ ይነቀል፣ የሚሞላም ካለ ይሞላ። መነጽርም ከሆነ ሁለት አሠሪ።

አራተኛ፣ ታክስ። ኢትዮጵያና አሜሪካ የገቢ ግብር ስምምነት የላቸውም። ከቻይና ወይም ከሕንድ የመጣው ጓደኛሽ «እኔ እኮ በስምምነቱ ተቀነሰልኝ» ሲልሽ ቢሮ ሄደሽ አትጣዪ፣ ያንቺ አይቀነስም። በሌላ በኩል የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር መዋጮ በተማሪነትሽ የመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት አይቆረጥብሽም፣ ከተቆረጠ ጠይቂ። እስከ ኤፕሪል 15 የምትሞዪው ቅጽ ለግብር እንደ ነዋሪ ለማይቆጠር ሰው የሆነው 1040-ኤንአር የሚባለው ነው፣ 8843 ከሚባለው ጋር። ሰው ሁሉ የሚጠቀምባቸው የታወቁት ሶፍትዌሮች የነዋሪውን ቅጽ ነው የሚሞሉልሽ፣ ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ለውጭ ተማሪ የሚያቀርበውን ተጠቀሚ።

የልጆች_እናት፦

እህት ዓለም፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ሁለቱም ኢግል ሃይትስን መዝለላቸው ገርሞኛል፣ ወንደላጤ ስለሆኑ ይሆናል።

ኢግል ሃይትስ ከካምፓሱ በስተ ምዕራብ፣ ሜንዶታ ሐይቅ ዳር ያለ የዩኒቨርሲቲው የመኖሪያ መንደር ነው። ነዋሪው በብዛት የድኅረ ምረቃ ተማሪና ቤተሰቡ ነው። ማስያዣ፣ የአሜሪካ ክሬዲት፣ ዋስ አምጪ የሚባል ጣጣ እንደ ውጭው አያደርቅሽም። 80 ቁጥር አውቶቡስ በነፃ ከበርሽ ካምፓስ ያደርስሻል። ወረፋ ስላለው የመግቢያ ደብዳቤሽ በእጅሽ ከገባ ዛሬውኑ ተመዝገቢ። ቤቶቹ አሮጌ ናቸው፣ ግድግዳውም ስስ ነው፣ ጎረቤትሽ ሽንኩርት ሲያቁላላ ታውቂያለሽ። ግን ጎረቤትሽም እንዳንቺ ከአገሩ ወጥቶ የመጣ ነው፣ ልጅ ታስይዢዋለሽ፣ ጨው ትበደሪዋለሽ።

ደግሞ የአትክልት ቦታው! ነዋሪው በትንሽ ክፍያ ቁራሽ መሬት ወስዶ የሚያርስበት ትልቅ የጋራ ማሳ አለ። በፈረንጆቹ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው። እኔ ጎመን፣ ቃሪያና በሶብላ ተክያለሁ። ጎመኑ እስከ ኖቬምበር ድረስ በረዶ እየነካውም ይበላል፣ እንዲያውም ይጣፍጣል።

ስለ ባለቤትሽ ቁርጡን ልንገርሽ። አንቺ ኤፍ-1 ከሆንሽ እሱ የሚመጣው በኤፍ-2 ነው፣ ኤፍ-2 ደግሞ ሥራ አይሠራም። በክፍያም፣ ቤት ሆኖ በኢንተርኔትም። መማር ከፈለገ የተወሰነ ኮርስ እንጂ ሙሉ ጊዜ አይፈቀድለትም። አንቺ ጄ-1 (የልውውጥ ፕሮግራም ቪዛ) ብትሆኚ ኖሮ እሱ በጄ-2 የሥራ ፈቃድ ማመልከት ይችል ነበር። ግን ጄ-1 ስትጨርሺ ሁለት ዓመት አገርሽ ተመለሺ የሚል ግዴታ ሊያመጣ ይችላልና ለዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጽፈሽ ሁለቱንም አመዛዝኚ። ይሄን ከባለቤትሽ ጋር ከመምጣታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት። አገር ቤት ሥራና ስም የነበረው ሰው ጃንዋሪ ላይ ቤት ውስጥ ተዘግቶ መስኮት ሲያይ ሲውል ትዳር ይፈተናል። ያየሁትን ነው የምነግርሽ።

አንድ ጨምሪ፦ ፓስፖርትሽ ላይ ያለው ቪዛ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ አገር ቤት ለሠርግም ለለቅሶም ስትሄጂ ለመመለስ አዲስ ቪዛ መጠየቅ አለብሽ። ለቤተሰብ አስቀድመሽ አስረጂ፣ ኋላ ላይ «ጨከነች» እንዳትባዪ።

ሐይቅ_ዳር፦

ኢግል ሃይትስ ቤተሰብ ላለው ጥሩ ነው፣ አልክድም። ለብቻዋ ለመጀመሪያው ዓመት ግን ርቀቱ ይከብዳል፣ በተለይ የቤተ ሙከራ ሥራ እስከ ማታ የሚያስመሽ ከሆነ። ባልሽ እስኪመጣ አንድ ክፍል ተከራይተሽ ወረፋውን እየጠበቅሽ ብትቆዪ ነው የምለው።

ከሐዋሳ_ነኝ፦

ወይኔ፣ እግዜር ይስጣችሁ! ሰውየውን ብሎክ አድርጌዋለሁ። የኢግል ሃይትስ ማመልከቻም አሁን እየሞላሁ ነው። የቀረኝ ሻንጣ ነው። ጃኬት ከአዲስ አበባ ገዝቼ ልምጣ? በርበሬና ሽሮስ ያስገባሉ? እናቴ ቋንጣ ካልወሰድሽ ብላ ቆማለች። ብርዱስ እውነት እንደሚባለው ነው?

የደሴ_ልጅ፦

እንደሚባለው ነው። ጃንዋሪ ሌሊት ከዜሮ በታች 10 እና 12 ዲግሪ የተለመደ ነው፣ አንዳንድ ሳምንት ከዜሮ በታች 20ን ያልፋል። ሐይቁ ይረጋና ሰው መሀሉ ላይ ድንኳን ተክሎ በረዶውን በስቶ ዓሣ ያጠምዳል። ለሐዋሳ ልጅ ይሄ መታየት ያለበት ነገር ነው። እኔን ግን ከብርዱ ይልቅ የከበደኝ ጨለማው ነው። ዲሴምበር ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር አስር ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ነው። ዝም ብሎ የሚጫጫን ነገር ከተሰማሽ የዩኒቨርሲቲው ጤና አገልግሎት የምክር አገልግሎቱን ለተማሪ ያለ ክፍያ ይሰጣል፣ ተጠቀሚበት።

ጃኬት ከአዲስ አትግዢ። እዚያ የሚሸጠው ወፍራም ጃኬት ለእንጦጦ ነው። ማዲሰን ፓርክ ስትሪት ላይ ዲግ ኤንድ ሴቭ የሚባል ልብስ በኪሎ የሚሸጥ ቦታ አለ፣ ቆፍረሽ ደህና ኮት ታወጪያለሽ። ቡት ላይ ግን አትቆጥቢ፣ አዲስ ግዢ። ባስኮም ሂል የሚባለውን ዳገት በረዶ ላይ በስኒከር ስትወርጂ የሚያይሽ ሁሉ ይስቃል።

ስለ መንገዱ፣ የእኛው አየር መንገድ ቺካጎ ኦሄር ያርፋል። ከዚያ ማዲሰን የሚሄድ ቫን ጋልደር የሚባል አውቶቡስ አለ፣ ሌላ አውሮፕላን መቀየር አያስፈልግሽም። ሦስት ሰዓት አካባቢ ነው። ያው አውቶቡስ በኋላም ይጠቅምሻል። ማዲሰን ሐበሻ አለ ግን ጥቂት ነው። የቺካጎ ሰሜኑ ሰፈር፣ ኤጅዋተር የሚሉት፣ እንጀራ ቤቱም ብዙ ነው፣ በዓል ሲደርስ ቤተ ክርስቲያንም የሚሄደው እዚያ ነው።

የልጆች_እናት፦

ቋንጣውን ተዪው፣ ሥጋ አያስገቡም፣ ደርቋል ብትዪም ሥጋ ነው። ለእናትሽ «ይወስዱብኛል» በያት። በርበሬ፣ ሽሮና ሚጥሚጣ በደንብ ታሽጎ፣ በእንግሊዝኛ ተጽፎበት ይለፍ። ስትገቢ ግን ለጉምሩክ ምግብ ይዣለሁ ብለሽ አስታውቂ። ያስመዘገበችውን አይተው ያሳልፏታል፣ የደበቀችውን ነው የሚቀጡት። ጤፍ አትሸከሚ፣ እዚህ በኦንላይን ታገኚያለሽ። ሽሮውን ግን አብዢው፣ ጎረቤት ሁሉ ይጠይቅሻል።