የዩኒፎርም ዋጋ ከደመወዜ ሊቆርጡብኝ ነው፤ ምን ላድርግ?

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ሆቴል በአስተናጋጅነት ከገባሁ ገና አንድ ወር ነው። ደመወዜ 3,600 ብር። ያለ ዩኒፎርም መሥራት አይቻልም። አሁን ታዲያ ዋጋው 2,400 ብር ነው፣ በየወሩ 800 እየተቆረጠ በሦስት ወር ያልቃል ተባልኩ።

በጣም ያበሳጨኝ ሰደሪያው ነው። አዲስ አይደለም። አንገቱ ጋ በውስጥ በኩል የሌላ ልጅ ስም በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። ታጥቦ ታጥቦ ደብዝዟል እንጂ ይነበባል። እሷም ከፍላበት ከሆነስ? አንድ ልብስ ስንት ጊዜ ይሸጣል? የሆቴሉ ስም ደረቱ ላይ ተጠልፎበት ደግሞ ሌላ የት ልለብሰው ነው?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አየሁት። አንቀጽ 12፣ በሥራ ውሉ ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር ለሥራው የሚያስፈልገውን መሣሪያና ቁሳቁስ አሠሪው ያቀርባል ይላል። ዩኒፎርም እዚህ ውስጥ ይገባል? አንቀጽ 59 ደግሞ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ ደመወዝ አይቆረጥም ይላል። ቢቆረጥም ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። 800 ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ ነገሩ ፊርማዬ ላይ ቆሟል። ነገ ከሰዓት ወረቀት ፈርሚ ብለውኛል።

አልፈርምም እንዳልል ፈራሁ። የ60 የሥራ ቀን ሙከራዬ አላለቀም። ለሥራው አልሆንሽም ብለው ያለ ማስጠንቀቂያ ቢያሰናብቱኝስ? የቤት ኪራይ አለብኝ።

እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ወይም ሕግ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። ልፈርም? ከፈረምኩ በኋላስ ማስመለስ ይቻላል? ቅሬታ ቢኖረኝ መጀመሪያ የምሄደው ወደ መንግሥት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ነው ወይስ ወደ ፍርድ ቤት?